የግል ሆስፒታልና ክሊኒክ መሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባም ሆነ ክልል ከተሞች ውስጥ አዲስ የግል ክሊኒክ ወይም ሆስፒታል ሲከፈት ማየት የተለመደ ሆኗል። ሐኪሞች ተደራጅተው አክሲዮን ይሸጣሉ። ከውጭ የተመለሱ ባለሙያዎች ጥሪታቸውን ይዘው ይገባሉ። ነጋዴውም ገንዘቡን ያፈሳል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ አዲስ የሚሆነው ሕንፃውና ዕቃው ብቻ መሆኑ ነው። ታካሚው የሚጉላላበት መንገድ አይለወጥም። ነርሷም አለቃዋን መፍራቷን አትተውም።

ከዚህ ቀጥሎ የማነሳቸው ስህተቶች ትልቅ ካፒታል ያለውንም፣ አራት ክፍል ተከራይቶ የሚሠራውንም ይመለከታሉ። ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም።

ማሽን መግዛትን እንደ ፈጠራ መቁጠር

ጎረቤት ያለው ሆስፒታል ሲቲ ስካን አስገባ፤ እኛም ማስገባት አለብን ይባላል። ብድር ይወሰዳል፣ የውጭ ምንዛሪ ይጠበቃል፣ ማሽኑ ይመጣል፣ ባነር ይሰቀላል። ጥያቄው የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። የኤክስሬይ ቱቦው ሲበላሽ ማን ይለውጠዋል? መብራት ሲዋዥቅ የሚከላከልለት ነገር አለ? የላብራቶሪ ማሽን ከሆነ ደግሞ ሪኤጀንቱ፣ ማለትም የመመርመሪያ ኬሚካሉ፣ ከስንት አቅራቢ ይገኛል? አንዳንዱ ማሽን የሚቀበለው የራሱን ኩባንያ ሪኤጀንት ብቻ ነው። አቅራቢው ምንዛሪ ያጣ ዕለት ማሽኑ ምንም ሳይሆን ምርመራው ይቆማል። ሻጩ ይህን በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አይነግራችሁም። መጠየቅ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ ውል ከመፈረሙ በፊት የሕክምና መሣሪያዎችን የሚከታተለውና የሚጠግነው ባዮሜዲካል ኢንጂነር ስብሰባው ላይ ይቀመጥ። ብዙ ቦታ እሱ የሚጠራው ማሽኑ ከቆመ በኋላ ነው። የመግዣ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የአምስት ዓመት ወጪውን አስሉ፤ ጥገናውን፣ መለዋወጫውን፣ ሪኤጀንቱን፣ ጄኔሬተሩን፣ ፊልሙን የሚያነበውን ራዲዮሎጂስት ጨምራችሁ። የመለዋወጫ አቅርቦቱና የባለሙያ ሥልጠናው በቃል ተስፋ ሳይሆን በውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈር።

ከዚህ የባሰው ነገር የሚመጣው ብድሩ መከፈል ሲጀምር ነው። ማሽኑ ራሱን መቻል አለበት ይባላል። ግፊቱ ሐኪሙ ላይ ያርፋል። በወር ስንት ምርመራ እንዳዘዘ ይቆጠርበታል፤ ታካሚ ለላከ ኮሚሽን ይሰጣል። በቀላል ራስ ምታት የመጣ ገበሬ በሬውን ሸጦ ለማያስፈልገው ምርመራ ይከፍላል። እኔ ይህን ሌብነት ነው የምለው። የሐኪምን ክፍያ ካዘዘው ምርመራ ብዛት ጋር ያያያዘ መሪ፣ የቱንም ያህል ዘመናዊ ዕቃ ቢያስገባ፣ የታካሚውን አመኔታ እየሸጠ ነው። ያ አመኔታ ደግሞ አንዴ ከሄደ በማስታወቂያ አይመለስም።

ወረፋውን ሳይነኩ ሶፍትዌር መጫን

ታካሚው ካርድ ያወጣል፣ ይከፍላል፣ ይጠብቃል። ሐኪም ያየዋል። ለላብራቶሪ እንደገና ካሸር ጋ ይሰለፋል። ደም ይሰጣል፣ ይጠብቃል፣ ውጤቱን ይዞ ሐኪሙ በር ላይ ይቆማል። ለመድኃኒት ሦስተኛ ጊዜ ይከፍላል። ይህ መንገድ ሳይታረም ሶፍትዌር ሲጫንበት፣ ወረፋው ኮምፒውተር ላይ የሚታይ ወረፋ ይሆናል፤ አያጥርም። ነርሷ ደግሞ ወረቀቱም ላይ ኮምፒውተሩም ላይ ትጽፋለች፤ ድካሟ እጥፍ ይሆናል። ሲስተም የለም የተባለ ቀን ሁሉም ነገር ይቆማል።

በአሜሪካ ሲያትል ከተማ የሚገኘው ቨርጂኒያ ሜሰን ሆስፒታል ኪሳራ ላይ ከወደቀ በኋላ መላ ሲፈልግ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ከፍተኛ አመራሮቹ ጃፓን ሄደው የቶዮታን አሠራር ፋብሪካ ድረስ ገብተው ተመለከቱ። ሲመለሱ ታካሚው ስንት እርምጃ እንደሚሄድ፣ ስንት ደቂቃ በከንቱ እንደሚቀመጥ መለካት ጀመሩ። እኛም አገር ካይዘን፣ ሥራን በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ የማሻሻል የጃፓን አሠራር፣ እንግዳ አይደለም። ብዙ ጊዜ ግን መደርደሪያ ማስተካከልና መለያ መለጠፍ ላይ ሲቆም ይታያል።

ሶፍትዌር ከመግዛታችሁ በፊት ሥራ አስኪያጁ አንድ ጠዋት ሰዓት ይዞ፣ አንድን ታካሚ አስፈቅዶ፣ ከበሩ እስከ መድኃኒት ቤቱ አብሮት ይሂድ። ሦስቱን ክፍያ ወደ አንድ ማምጣት ይቻላል? ውጤቱን ታካሚው ከሚሸከም ላብራቶሪው በቀጥታ ለሐኪሙ ቢልክስ? ለእነዚህ መልስ ካገኛችሁ በኋላ የሚገዛው ሶፍትዌር ምን መሥራት እንዳለበት እናንተ ታውቃላችሁ። ካላወቃችሁ ግን የሚወስንላችሁ ሻጩ ነው።

ስህተቱን የተናገረ ሰው መቅጣት

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ሁለት የሚመሳሰሉ ብልቃጦች አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የሌሊት ተረኛዋ ነርስ አንዱን በሌላው ቦታ ልትወጋ ስትል ራሷ ደርሳ ታስተውላለች። ታካሚው አልተነካም። ጠዋት ብትናገር ምን ይጠብቃታል? ማስጠንቀቂያ፣ የደመወዝ ቅጣት፣ ቢያንስ ቁጣ። ስለዚህ ዝም ትላለች። ብልቃጦቹ እዚያው ይቆያሉ። ከሳምንት በኋላ ሌላ ነርስ በዚያው መደርደሪያ ላይ ትሳሳታለች፤ ያን ጊዜ ማንም ላይደርስ ይችላል። የተቋሙ ትልቁ የማሻሻያ ሐሳብ የመጀመሪያዋ ነርስ ዘንድ ነበር። መሪው ግን በራሱ እጅ ዘጋው።

ቨርጂኒያ ሜሰንን እንደገና ላንሳው። ማንኛውም ሠራተኛ አደጋ ካየ ሥራውን ማስቆም የሚችልበትን አሠራር ቀደም ብሎ ዘርግቶ ነበር። ይህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2004 አንዲት ታካሚ በዚያው ሆስፒታል በስህተት ሞቱ። ለምርመራ መግባት በነበረበት ፈሳሽ ፋንታ የቆዳ ማጽጃ፣ ክሎርሄክሲዲን፣ ተወጉ። ፈሳሾቹ ሁሉም ጥርት ያሉ ናቸው፤ የተቀመጡባቸው ዕቃዎች ላይ ደግሞ ምንም አልተጻፈም። ሆስፒታሉ ነገሩን አልሸፈነም። ስህተቱን ለሕዝብ በግልጽ ተናገረ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ የታካሚ ደህንነትን ከግቦቹ ሁሉ አስቀደመ። ዛሬ ስሙ የሚነሳው በዚያ ሞት ሳይሆን ከዚያ በኋላ ባደረገው ነው።

ለዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝር አንድ ገጽ ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናት በስምንት ከተሞች ባሉ ሆስፒታሎች ሞክሮታል። ለንደንና ቶሮንቶ አሉበት፤ የታንዛንያዋ ኢፋካራም አለችበት። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞቱት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወረዱ። ከባድ ጉዳት የሚደርስባቸው ከ11 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አሉ። ወረቀቱ ቡድኑ ስም ለስም እንዲተዋወቅ፣ የታካሚው ማንነትና የሚቀደደው ቦታ ጮክ ተብሎ እንዲረጋገጥ ያደርጋል። ታናሿ ነርስ ታላቁን ቀዳጅ ሐኪም «ቆይ» እንድትል ፈቃድ ይሰጣታል። ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ኮሪደር ላይ ተሰብስቦ የሚሞላ ከሆነ ግን ለፋይል እንጂ ለሰው አይጠቅምም።

እኛ ዘንድ ታላቅን መቃወም ከባድ ነው። «ፕሮፌሰሩን ማን ደፍሮ ይናገራል?» የሚለውን ያልሰማ የሕክምና ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ይህን መስበር የሚችለው ላይ ያለው ሰው ብቻ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለሃያ ደቂቃ፣ «በዚህ ሳምንት ሊያመልጠን የነበረው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ለተናገረው ሰው በሰው ፊት ምስጋና ይሰጠው። ቅጣት ቦታ የለውም አላልኩም። ሰክሮ ተረኛ የገባና ሰነድ ያጭበረበረ መቀጣት አለበት። ደክሞት የተሳሳተን ከነዚህ ጋር አንድ ማድረግ ነው ጥፋቱ።

ጎበዝ ሐኪም ስለሆነ ብቻ ዳይሬክተር ማድረግ

እጁ የተባረከ ቀዳጅ ሐኪም ነው፤ ስለዚህ ሆስፒታሉን ይምራ። በዚህ ውሳኔ ተቋሙ አንድ ጥሩ ቀዳጅ ያጣል፤ ያልተዘጋጀ መሪም ያገኛል። በጀት፣ ግዢ፣ የሰው ኃይል፣ የሥራ ክርክር የሕክምና ትምህርት ቤት የሚያስተምራቸው ነገሮች አይደሉም። መንግሥት ይህን ተረድቶ እ.ኤ.አ. በ2008 በጅማ ዩኒቨርሲቲ ከየል ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ለሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች የማስተርስ ትምህርት አስጀምሯል። የግሉ ዘርፍ ግን አሁንም ባለድርሻ ሐኪሞችን በየተራ ወንበር ላይ ሲያስቀምጥ ይታያል። ሐኪም አይምራ ማለቴ አይደለም። መምራት የሚፈልግ ሐኪም ይማር፤ ጊዜም ይሰጠው። ጠዋት ዳይሬክተር፣ ከሰዓት ሌላ ሆስፒታል ፓርት ታይም እየሠራ አይሆንም።

የቦርድ ወንበርን ለክብር ማደል

ቴራኖስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 ተቋቋመ። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም ብዙ ዓይነት ምርመራ እሠራለሁ አለ። 9 ቢሊዮን ዶላር ያወጣል እስከመባል ደረሰ። ቦርዱ ላይ ሄንሪ ኪሲንጀርና ጆርጅ ሹልትዝ ነበሩ፤ ሁለቱም የቀድሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ናቸው። ላብራቶሪ የሚያውቅ ሰው ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ጠፋ። ማሽኑ እንደማይሠራ ቀድመው ያወቁት ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠሩት ወጣቶች ነበሩ፤ ሲናገሩ ማስፈራሪያ ደረሰባቸው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2018 ፈረሰ። መሥራቿ ኤልዛቤት ሆምስ እ.ኤ.አ. በ2022 ባለሀብቶችን በማታለል ጥፋተኛ ተባለች።

እኛም ጋ ቦርድ የሚሞላው ትልቅ ድርሻ ባለውና ስሙ በታወቀ ሰው ነው። ቢያንስ አንድ ላብራቶሪና አንድ ነርሲንግ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ይኑርበት። አዲስ ቴክኖሎጂ ሲቀርብ «በአገራችን የትኛው ተቋም ተጠቅሞበታል? ውጤቱን ከተለመደው ምርመራ ጋር ያመሳከረውስ ማነው?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ብዙ ሚሊዮን ብር ያድናል።

አጠገባችሁ ያለውን ሰው አለማየት

ዶክተር ጎቪንዳፓ ቬንካታስዋሚ ከመንግሥት ሥራ በ58 ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1976 በደቡብ ሕንድ ማዱራይ ከተማ 11 አልጋ ያለው የዓይን ክሊኒክ ከፈቱ። አራቪንድ ይባላል። የመክፈል አቅም ያለው ይከፍላል፤ የሌለው በነፃ ወይም በትንሽ ዋጋ ይታከማል። ይህ እንዲሆን ያስቻለው የሥራ ክፍፍሉ ነው። ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ሠልጥነው ታካሚውን ይመረምራሉ፣ ያዘጋጃሉ፣ ይከታተላሉ። ሐኪሙ ጊዜውን ሐኪም ብቻ በሚሠራው ላይ ያውላል። ከውጭ የሚገባው የዓይን ሌንስ ለደሃ የማይቀመስ ሲሆንባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 አውሮላብ የሚባል ፋብሪካ አቋቁመው ራሳቸው ማምረት ጀመሩ።

ተመሳሳይ ነገር ለማየት ሕንድ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶችን አንድ ዓመት አሠልጥኖ በየቀበሌው ጤና ኬላ አሰማርቷል። ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ክትባትና የቤተሰብ ዕቅድ ምክር ሐኪም ረግጦት የማያውቀው ገጠር ድረስ አደረሱ።

የአዲስ አበባው ሃምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል ታሪክ ደግሞ ሁሌም ልቤን ይነካዋል። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ እ.ኤ.አ. በ1974 ነው የከፈቱት። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ከወሊድ በደረሰባቸው ጉዳት ታካሚ ሆነው ወደ ሃምሊኖቹ መጡ። ከዳኑ በኋላ ሌሎች ታካሚዎችን መርዳት ጀመሩ። ቀጥሎ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብተው አገዙ። በኋላም መደበኛ የሕክምና ትምህርት ሳይኖራቸው ራሳቸው ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ፣ ሐኪሞችን የሚያሠለጥኑ ባለሙያ ሆኑ። ሃምሊኖቹ ያዩት ችሎታቸውን ነው፤ የትምህርት ማስረጃ አልጠበቁም። በእናንተ ተቋም ካርድ ክፍል የተቀመጠችው ልጅ የታካሚውን ችግር ከማንም በላይ ታውቅ ይሆናል። ጠይቃችኋታል?

የውጭውን አሠራር እንዳለ መገልበጥ

ይህ በተለይ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ተመልሰው ለሚሠሩ ወገኖቻችን ነው። ዕውቀታቸውና ቅንነታቸው ያስፈልገናል። ነገር ግን በቀጠሮ ብቻ የሚሠራ ክሊኒክ፣ ከወልድያ ሌሊቱን ተጉዞ ጠዋት የደረሰን ሰው ምን ሊለው ነው? ተመለስ? የተወሰነ ሰዓት ለቀጠሮ፣ የተወሰነው ያለ ቀጠሮ ለመጣ ይሁን። ታካሚው ብቻውን እንደማይመጣም አስቡ። አስታማሚው የሚቀመጥበት ቦታ፣ ውሳኔውን አብሮ የሚሰማበት ክፍል ያስፈልገዋል።

ማንም ያልተረከበው ሙከራ

አዲስ አሠራር በሥልጠናና በሻይ ቡና ይጀመራል። ከሦስት ወር በኋላ ማንም አያነሳውም። ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር ጻፉ፤ ኃላፊው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚለካ፣ መቼ እንደሚገመገም። የሚለካው ነገር ጥቂት ይሁን፤ ለምሳሌ ታካሚው ከካርድ እስከ ሐኪም የጠበቀበት ሰዓት። ከሠራ ለቀጣዩ ክፍል አስፉት። ካልሠራ ደግሞ መቆሙንና ለምን እንደቆመ ለሠራተኛው ንገሩት።