አገር ሲቀየር የጌም አካውንት ምን ይሆናል? ለአዲስ ገቢዎች የዋጋ፣ የገንዘብና የሪጅን መመሪያ

በአዲስ አገር ኑሮ የጀመረ ሰው የመኖሪያ ወረቀቱና የባንክ ሂሳቡ ጉዳይ መስመር ከያዘለት በኋላ ኮምፒውተሩን ወይም ኮንሶሉን ከፍቶ ጌም ልግዛ ሲል፣ አካውንቱ አሁንም የለቀቀው አገር ነዋሪ አድርጎ እንደመዘገበው ይገነዘባል። የጌም ስቶሮች አንድ ደንበኛ የየት አገር ሰው እንደሆነ የሚወስኑት በአብዛኛው በሦስት ነገሮች ነው፤ እነርሱም ኢንተርኔቱ የተገናኘበት ቦታ፣ የክፍያ ካርዱን ያወጣው ባንክ የሚገኝበት አገርና በአካውንቱ ላይ የተሞላው አድራሻ ናቸው። ሦስቱ ካልተስማሙ ግዢው ውድቅ ሊሆን ይችላል። ይህን ያየ ሰው ወዲያውኑ የአገር መቀየሪያውን ይጫናል፤ ሆኖም አገር መቀየር በአንዱ ስቶር ቀላል፣ በሌላው የማይቻል፣ በሦስተኛው ደግሞ በአካውንቱ ውስጥ የቀረውን ገንዘብ ከጥቅም ውጭ የሚያደርግ ስለሆነ፣ ከመጫንዎ በፊት የየስቶሩን ደንብ ማወቅ ይኖርብዎታል።

በመጀመሪያ ዋጋው ከአገር አገር ለምን እንደሚለያይ እንመልከት። የኮምፒውተር ጌሞች በሚሸጡበት ስቲም በተባለው ስቶር ላይ የአንድን ጌም ዋጋ የሚወስነው የስቲም ባለቤት የሆነው ቫልቭ ሳይሆን የጌሙ አሳታሚ ነው። ቫልቭ የዶላሩን ዋጋ መነሻ አድርጎ ለየገንዘቡ የሚስማማ የዋጋ ምክር ያቀርባል፤ አሳታሚው ምክሩን ሊቀበልም፣ ከዚያ በላይ ወይም በታች ሊጽፍም ይችላል። አንዴ የተጻፈው ዋጋ ከዕለታዊው የውጭ ምንዛሪ ተመን ጋር አብሮ አይወጣም፣ አይወርድም፤ አሳታሚው እስኪያሻሽለው ድረስ ባለበት ይቆያል። ስለዚህ የአንድ አገር ገንዘብ በፍጥነት ሲዳከም በዚያ አገር ስቶር ያለው ጌም በዶላር ሲሰላ እጅግ ርካሽ ይሆናል፤ ይህን የሰሙ የሌላ አገር ሰዎችም አካውንታቸውን ወደዚያ ለማዞር ይሽቀዳደማሉ።

በቱርክና በአርጀንቲና የሆነው ይኸው ነው። ሊራውና ፔሶው በተከታታይ ዋጋቸውን ሲያጡ አሳታሚዎች በአንድ በኩል የአገሬውን አቅም፣ በሌላ በኩል ከውጭ የሚጎርፈውን ገዢ እያዩ ዋጋ ማስተካከል ተሳናቸው። በመጨረሻም ስቲም ከኖቬምበር 20 ቀን 2023 ጀምሮ በሁለቱም አገሮች የአገር ውስጥ ገንዘቡን ትቶ በዶላር መሸጥ ጀመረ፤ አርጀንቲና ከሌሎች የላቲን አሜሪካ አገሮች ጋር፣ ቱርክ ደግሞ ከበርካታ የመካከለኛው ምሥራቅና የሰሜን አፍሪካ አገሮች ጋር በአንድ የዶላር ዋጋ ቀጠና ውስጥ ተመደቡ። የዋጋ ቅናሹን የወሰነው ከዚያ በኋላ አሳታሚው ለቀጠናው የጻፈው ቁጥር ብቻ ሆነ። እነዚያን አገሮች እንደ ርካሽ መግቢያ በር የሚያወሩ አሮጌ ቪዲዮዎችና ጽሑፎች ዛሬም ስለሚዞሩ ቀናቸውን አይተው ይመኑ።

እዚህ ላይ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚስቱት ነጥብ አለ። አሮጌውን አካውንት በኢትዮጵያ ስም ካቆየሁት ዋጋው ይረክስልኛል ብለው የሚያስቡ አሉ። ይሁን እንጂ ብር ስቲም ከሚቀበላቸው ገንዘቦች ውስጥ የለም፤ በኢትዮጵያ የተከፈተ አካውንት ዋጋ የሚያየው በዶላር ነው። ስለዚህ አካውንቱን ወደሚኖሩበት አገር በማዞርዎ የሚያጡት ልዩ ቅናሽ የለም፤ እንዲያውም ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ወይም ወደ ተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የሄደ ሰው በራንድ፣ በሪያል ወይም በድርሃም የተጻፈ የአገሩን ዋጋ ያገኛል። ደመወዙ በሚከፈለው ገንዘብ መግዛቱ ደግሞ የምንዛሪ ኮሚሽንን ያስቀርለታል።

ዋጋን ከዋጋ ሲያነጻጽሩ ታክስን አይዘንጉ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችና በእንግሊዝ በስቶሩ ላይ የሚታየው ዋጋ የተጨማሪ እሴት ታክስን ያካተተ ነው፤ በአሜሪካና በካናዳ ግን ታክሱ የሚደመረው መክፈያው ገጽ ላይ ሲደርሱ ነው። ለምሳሌ በጀርመን 59.99 ዩሮ የተባለ ጌም 19 በመቶ ታክስ በውስጡ ስላለ፣ ታክሱ ሲነሳ ዋጋው ወደ 50.41 ዩሮ ይወርዳል። በአሜሪካ 59.99 ዶላር የተባለው ደግሞ በሜሪላንድ ግዛት 6 በመቶ ሲጨመርበት 63.59 ዶላር ይሆናል፣ የሽያጭ ታክስ በሌለባት በኦሪገን ግን ያው 59.99 ነው። «አሜሪካ ይረክሳል፣ አውሮፓ ይወደዳል» የሚለው ክርክር ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከዚህ ልዩነት የሚነሳ ይመስለኛል።

ወደ አሠራሩ ስንመጣ ከሁሉም ቀለል የሚለው ስቲም ነው። አዲሱ አገር ከገቡ በኋላ፣ ያለ ምንም ቪፒኤን (ያሉበትን አገር የሚደብቅ መተግበሪያ)፣ ከአካውንት ዝርዝር ገጽ ላይ የስቶር አገርን ማደሻ ይመርጣሉ፤ ለውጡ የሚጸናው በዚያው አገር በወጣ የመክፈያ መንገድ አንድ ግዢ ሲፈጽሙ ነው። በዋሌትዎ፣ ማለትም በአካውንቱ የገንዘብ ቦርሳ፣ ውስጥ የቀረ ገንዘብ ካለ በወቅቱ ተመን ወደ አዲሱ ገንዘብ ይመነዘራል እንጂ አይጠፋም፤ ከዚህ ቀደም የገዟቸው ጌሞችም በላይብረሪዎ ውስጥ ይቆያሉ። አገር መቀየር የሚቻለው በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ በጉዞ ላይ ለጥቂት ሳምንታት ያረፉበትን አገር አይምረጡ፤ የሚሰፍሩበት እስኪታወቅ ይታገሡ። በአዲሱ አገር የሚያዩት የጌም ዝርዝርም ከቀድሞው ሊለይ ይችላል። በጀርመን፣ ለምሳሌ፣ የዕድሜ ደረጃ ያልተሰጣቸው ጌሞች ከኖቬምበር 15 ቀን 2024 ጀምሮ ከስቶሩ ተደብቀዋል፤ ሲፈልጉት የነበረ ጌም ድንገት ቢጠፋብዎ መነሻው ይኸው ሊሆን ይችላል።

ፕሌይስቴሽን ግን ሌላ ነው፤ አዲስ ገቢዎች በእጅጉ የሚቸገሩትም በዚህ ነው። በፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት ሲከፈት የተመረጠው አገር ከቶ አይቀየርም። በዚያ ላይ ኢትዮጵያ አገልግሎቱ ከሚሰጥባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች፣ እዚያ ሳሉ ኮንሶል የነበራቸው ሰዎች አካውንታቸውን የከፈቱት በሌላ አገር፣ አብዛኛውን ጊዜ በአሜሪካ ወይም በእንግሊዝ ስም ነው። ዕድል ቀንቶዎት የሰፈሩት አካውንቱ በተመዘገበበት አገር ከሆነ አድራሻውን ወደ ትክክለኛው አድራሻዎ ማስተካከል ይበቃል። በአሜሪካ ስም የተከፈተ አካውንት ይዘው ስዊድን የገቡ ከሆነ ግን የስዊድን ባንክ ካርድ ሊመለስብዎ ይችላል፤ በስዊድን ሱቅ የሚሸጠው የፕሌይስቴሽን ጊፍት ካርድ ደግሞ በክሮና የተሞላና ለስዊድን አካውንት ብቻ የተሠራ ስለሆነ በአሜሪካው አካውንት ላይ አይሞላም።

የሚያዋጣው መንገድ አሮጌውን ሳይዘጉ በሚኖሩበት አገር አዲስ አካውንት መክፈት ነው። በፒኤስ5 (ፕሌይስቴሽን 5) ላይ በአሮጌው አካውንት ገብተው «ኮንሶል ሼሪንግ ኤንድ ኦፍላይን ፕሌይ» የተባለውን ምርጫ ካበሩ፣ በዚያ አካውንት የተገዙትን ጌሞች በዚያው ኮንሶል ላይ ያለ ማንኛውም ተጠቃሚ፣ አዲሱን አካውንትዎን ጨምሮ፣ መጫወት ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚገዙትን ሁሉ በአዲሱ ይግዙ። ሁለት ነገሮች ግን አይሻገሩም፤ የተሰበሰቡት ዋንጫዎች በአሮጌው ስም ይቀራሉ፣ የተቀመጠው የጨዋታ ደረጃም ከአካውንቱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ በአብዛኛው ከመጀመሪያው መጀመር ይኖርብዎታል። የጀመሩትን ረጅም ጌም በአሮጌው አካውንት መጨረስ ሳይሻል አይቀርም።

የዲስክ ተጠቃሚዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ዲስኩ ራሱ ከየትም አገር ቢገዛ ይሠራል፤ ለዚያ ጌም የሚገዛው ተጨማሪ ክፍል፣ ማለትም ዲኤልሲው፣ ግን ከዲስኩ ሪጅን፣ ማለትም ዲስኩ ከተሠራለት የገበያ ክልል፣ ጋር መመሳሰል አለበት። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ዲስክ ይዞ ከአውሮፓ ስቶር ዲኤልሲ የገዛ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ፋይሉን አውርዶ፣ ጌሙን ሲከፍት ግን ዲኤልሲው የለም። በዲስኩ ሣጥን ላይ ያለው የዕድሜ ምልክት ሪጅኑን ለመለየት ይረዳል፤ ፔጊ የሚለው የአውሮፓ፣ ኢኤስአርቢ የሚለው የሰሜን አሜሪካ ነው።

ኤክስቦክስ አገር መቀየርን በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን የኤክስቦክስ ባለቤት በሆነው በማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ የቀረው ገንዘብ አብሮ አይሻገርም፣ ስለዚህ አስቀድመው ይጨርሱት። ኒንቴንዶም አገር እንዲቀየር ይፈቅዳል፣ ቀሪ ሂሳብ ካለ ግን ለውጡን ይከለክላል። ወደ ጃፓን ለሚሄድ ሰው ብቻ የሚሆን አንድ ማስታወሻ ላክል፤ በጁን 5 ቀን 2025 የወጣው የኒንቴንዶ ኮንሶል ስዊች 2 በጃፓን በሁለት ዓይነት ቀርቧል፣ ሲወጣ 49,980 የን የነበረው ርካሹ በጃፓንኛ ብቻ የሚሠራና ከጃፓን አካውንት ጋር ብቻ የሚገናኝ ሲሆን፣ ብዙ ቋንቋ የሚቀበለው ሲወጣ 69,980 የን ነበር። ቅናሽ ነው ብሎ ከመቸኮል ሣጥኑን ማንበብ ይሻላል።

በስልክ ለሚጫወቱ ሰዎች ከሁሉም ጠበቅ ያለው ደንብ የጉግል ፕሌይ ነው፤ አገር የሚቀየረው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ በአዲሱ አገር በአካል መገኘትና የዚያን አገር የመክፈያ መንገድ ማስገባት ይጠይቃል፣ በቀድሞው አገር ገንዘብ የቀረው ሂሳብም በአዲሱ አገር አያገለግልም። አፕል በበኩሉ ቀሪ ሂሳብ እስኪያልቅና በየወሩ የሚታደሱ ክፍያዎች እስኪቋረጡ ድረስ ለውጡን አይቀበልም፤ ስለዚህ ክፍያውን ያቋርጡና የተከፈለበት ጊዜ እስኪያልቅ ይጠብቁ።

የባንክ ካርድ ገና ያልወጣላቸው ሰዎች የሚጠቀሙበት መንገድ ጊፍት ካርድ ነው። ካርዱን በጥሬ ገንዘብ ከሱፐርማርኬት ወይም ከኤሌክትሮኒክስ ሱቅ መግዛት ይቻላል፤ ከመግዛትዎ በፊት ግን ፊት ለፊቱ ላይ የተጻፈው ገንዘብና አገር ከአካውንትዎ ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ፣ ኮዱ ከተፋቀ በኋላ ሱቁ አይመልስምና። በሌላ አገር ካርድ መክፈል ግድ ከሆነብዎ ባንኩ በየግዢው የውጭ ክፍያ ኮሚሽን ሊቆርጥ ስለሚችል፣ ትንንሽ ግዢዎችን ከመደጋገም አንድ ላይ መግዛት ያዋጣል። በስቲም የተገዛ ጌም ካልተስማማዎት ደግሞ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ተጫውተው ከሆነ፣ ገንዘብዎን ማስመለስ ይችላሉ።

በቪፒኤን ሌላ አገር መስሎ መግዛትን አልመክርም። የስቲም የአገልግሎት ውል ያሉበትን ቦታ ደብቆ የማይገባዎትን ዋጋ መክፈልን በግልጽ ይከለክላል፤ ለጥቂት ዶላር ሲባል ለዓመታት የተከማቸ ላይብረሪን አደጋ ላይ መጣል አያዋጣም። ከሦስተኛ ወገን የሚሸጡ ርካሽ የጌም መክፈቻ ኮዶችም ብዙ ጊዜ ለአንድ ሪጅን ብቻ የተቆለፉ ናቸው። በአውሮፓ ለሚኖሩ ግን አንድ መብት አለ። የአውሮፓ ኮሚሽን በጃንዋሪ 2021 ቫልቭንና አምስት አሳታሚዎችን በድምሩ 7.8 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው፣ እንደ ፖላንድ፣ ሃንጋሪና ሮማንያ ባሉ አገሮች በርካሽ የተሸጡ የስቲም ኮዶች በሌሎች የአውሮፓ አገሮች እንዳይከፈቱ በመቆለፋቸው ነው። ቫልቭ ይግባኝ ቢልም ፍርድ ቤቱ በሴፕቴምበር 2023 ውሳኔውን አጽንቷል። ስለዚህ በአንዱ አባል አገር በሕጋዊ መንገድ የተገዛ የፒሲ ኮድ በሌላው አባል አገር አልከፈት ካለ፣ ለሻጩ ሲጽፉ ይህን ውሳኔ መጥቀስ ይችላሉ።

ወደ ኋላ ለቀሩት ወንድም ወይም እህት ጌም ለመላክ ለሚያስቡ ደግሞ፣ የስቲም ስጦታ በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሰፊ ከሆነ አይላክም፤ ሲስተሙ ይህን ከመክፈልዎ በፊት ያሳውቃል። ላይብረሪን የሚያጋራው የስቲም ቤተሰብ አገልግሎትም እስከ 6 ሰው የሚይዝ ቢሆንም፣ አባላቱ በአንድ ቤት እንዲኖሩና የስቶር አገራቸው አንድ እንዲሆን ይጠይቃል። ከአንዱ ቤተሰብ የወጣ አባል ሌላውን ለመቀላቀል መጀመሪያ ከገባበት ቀን አንሥቶ አንድ ዓመት መሙላት ስላለበት፣ በቅርቡ በቤተሰብ ማገናኘት የሚመጣ የትዳር ጓደኛ ወይም ልጅ ካለዎት እስከዚያ ሌላ ቤተሰብ ውስጥ እንዳይገቡ ይንገሯቸው፤ ወደ ቡድንዎ መጋበዝ ያለብዎትም እነርሱ ገብተው የስቶር አገራቸውን ካስተካከሉ በኋላ ነው።