ሉፕ ልታስገቢ ነው? መጀመሪያ ስለ ደሙ ጠይቂ

ሉፕ፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው የእርግዝና መከላከያ፣ ጥሩ ነገር ነው። ግን ለሁሉም ሴት አይስማማም። የተስማማንም ብንሆን የመጀመሪያዎቹን ወራት ታግሰን ነው ያለፍነው። ሮጣ ሄዳ የምታስወጣው አብዛኛውን ጊዜ «ምንም የለውም፣ አይሰማሽም» ተብላ የገባላት ሴት ናት።

እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ ግራውንድ ላይ ባለች ጠባብ ቤት ሹሩባ እሠራለሁ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ የምጠቀመው ሉፕ ነው። ደግሞ ሹሩባ ሠሪ ጆሮዋ ብዙ ይሰማል። ግማሽ ቀን ጉልበቴ መሀል የተቀመጠች ሴት የማታወራው ጉድ የለም። ባሏን ታወራለች፣ አማቷን ታወራለች፣ መጨረሻ ላይ ወደ ማህፀኗ ትመጣለች። እዚህ የምጽፈው በራሴ ያየሁትን፣ ከደንበኞቼ የሰማሁትንና ሲስተሮቹን ጠይቄ ያረጋገጥኩትን ነው።

ሉፕ ሁለት ዓይነት ነው። ጤና ጣቢያ በብዛት የምታገኚው መዳብ የተጠመጠመበት ትንሽ ፕላስቲክ ነው፤ ርዝመቱ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሆርሞን የለውም። መዳቡ የወንዱን ዘር ስለሚያዳክመው ከእንቁላሉ ጋር አይገናኝም። ከገባበት ቀን ጀምሮ ይሠራል፣ እስከ 12 ዓመትም ይቆያል። ማሸጊያው ላይ 10 ዓመት የሚል ብታዪ ግራ አይግባሽ፤ እስከ 12 መሥራቱ በጥናት ታይቷል። በመጀመሪያው ዓመት ከ100 ተጠቃሚ አንዷም እንኳ ማርገዟ አጠራጣሪ ነው። ሳትጠነቀቂ ግንኙነት አድርገሽ ከሆነም በ5 ቀን ውስጥ ከገባ እርግዝናውን ይከላከላል። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ሁሉም ወደ ፖስት ፒል፣ ወደ ድንገተኛው መከላከያ ክኒን፣ ነው የሚሮጠው።

ሁለተኛው ሆርሞን ያለው ነው። እሱ የሚቆየው ለጥቂት ዓመታት ስለሆነ ስንት ዓመት እንደሆነ ስታስገቢ ጠይቂ። በሁሉም ቦታ አይገኝም። ከመዳቡ የሚለየው ደም መቀነሱ ነው፤ አንዳንዷ ሴት ጭራሽ የወር አበባ ላታይ ትችላለች። የወር አበባሽ ድሮውንም ከባድ ከሆነ፣ ወይም «ደም አንሶሻል» ተብለሽ የምታውቂ ከሆነ፣ ስለ መዳቡ ከመወሰንሽ በፊት ይሄኛውን የት እንደምታገኚ ጠይቂ።

በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ካገቡ ሴቶች 27 በመቶው መርፌ፣ 9 በመቶው በክንድ የሚቀበረውን ይጠቀሙ ነበር። ሉፕ የሚጠቀሙት 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። አይገርመኝም። እኔ ቤት ብቻ የሰማሁት ወሬ ሌላውን ሁሉ ያስፈራል። ወደ ልብ ይወጣል ይላሉ። አይወጣም፤ ማህፀን ከልብ ጋር የሚገናኝበት መንገድ የለውም። ይዝጋል ይላሉ፣ አይዝግም። ጄሪካን ካነሳሽ ይወድቃል ይላሉ። ይሄ እውነት ቢሆን ኖሮ አራብሳ ውስጥ ሉፕ ያላት ሴት ባልተገኘች! መካን ያደርጋል የሚሉም አሉ፤ በወጣ በወሩ ያረገዘች ደንበኛ አለችኝ።

እውነተኛው ችግር ሌላ ነው፤ ደሙ።

የመዳቡ ሉፕ ደም ይጨምራል። 4 ቀን የነበረው ሳምንት ሊሆን ይችላል። ቁርጠቱም ይበረታል፣ መሀል ላይም ጠብ ጠብ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ እየቀነሰ ይመጣል። ይሄ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። እኛ ሰፈር ግን ውሃ በፈረቃ ነው። አራተኛ ፎቅ ሆነሽ፣ ውሃ በሌለበት ቀን፣ ሌሊት አንሶላው ሲነካ ነው ነገሩ የሚገባሽ። ስለዚህ ከማስገባትሽ በፊት ተዘጋጂ። ሞዴስ ከወትሮው ጨምረሽ ግዢ። አንድ ጄሪካን ውሃ ለዚህ ብለሽ አስቀምጪ፤ ልጆቹም ባልሽም እንዳይነኩት ተናገሪ። ጥቁር ነገር ለብሰሽ ተኚ።

ጊዜውንም ምረጪ። አንዲት ደንበኛዬ ሐምሌ ውስጥ አስገባች። ፍልሰታን ልትቆርብ ዓመቱን ሙሉ ስትጠብቅ ነበር። ጠብ ጠብ የሚለው አላቆም አላት። ጾሙ ሲፈታ እዚህ ቁጭ ብላ «ሲስተሯ አንድ ቃል ብትነግረኝ ኖሮ መስከረም ላይ አስገባው አልነበር?» ብላ አለቀሰች። እውነቷን ነው። ቤተ ክርስቲያን መግባት፣ መቁረብ፣ ሰላት መስገድ፣ ረመዳን መጾም ለኛ ትልቅ ነገር ነው። ካውንስሊንጉ ላይ ግን ማንም አያነሳውም። አንቺ አንሺው። ደሙ ሲራዘም ምን ማድረግ እንዳለብሽም የንስሐ አባትሽን ወይም ኡስታዝሽን አስቀድመሽ ጠይቂ።

ለቁርጠቱና ለደሙ አይቡፕሮፌን ይረዳል። ደሙ በጀመረ ቀን፣ ምግብ በልተሽ፣ ለጥቂት ቀን ነው የሚወሰደው። ጨጓራ ካለብሽ ግን ሳትጠይቂ አትንኪው። አስፕሪን አትውሰጂ፤ ደሙን ሊያብስ ይችላል። ምስርና ጎመን አዘውትሪ፣ የፍስክ ጊዜ ከሆነም ሥጋ። ከምግብ በላይ ወዲያው ቡና መጠጣት ሰውነትሽ ከምግቡ ብረት እንዳያገኝ ያደርጋል፤ ትንሽ አቆይተሽ ጠጪ። (ለማለት ቀላል ነው፤ እኔ ራሴ ጀበናው ከተጣደ አልችልም።) ካዞረሽ፣ ደረጃ ስትወጪ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ሄደሽ የደም መጠንሽን ተለኪ። ሞዴሱ በየሰዓቱ እየሞላ ከሆነ ደግሞ ትዕግሥት ቦታ የለውም፤ የዚያኑ ቀን ሂጂ።

አሁን ወደ ጤና ጣቢያው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት ነፃ ነው። የወር አበባ ላይ መሆን ግዴታ አይደለም፤ ያለማርገዝሽ ከተረጋገጠ በማንኛውም ቀን ይገባል። ቁርስ በልተሽ ሂጂ። ሰፊ ቀሚስ ልበሺ፣ ሱሪ ያስቸግርሻል። ሞዴስ ያዢ። ሴት ባለሙያ ከፈለግሽ ካርድ ስታወጪ ተናገሪ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

የሚከተሉትን ግን ሳትጠየቂም ንገሪያቸው፦ የወር አበባ ቀርቶብሽ ከሆነ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም የታችኛው ሆድ ሕመም ካለሽ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ካየሽ፣ የማህፀን በር ካንሰር ወይም የማህፀን ቅርፅ ችግር አለብሽ ተብለሽ ከሆነ። ኢንፌክሽን ካለ መጀመሪያ ይታከማል፣ ከዚያ ይገባል። አፍረሽ ዝም ብትዪ የምትጎጂው አንቺ ነሽ።

አልጋው ላይ ስትወጪ «ሲስተር፣ እባክዎ እየነገሩኝ ይሥሩ» በያቸው። ሁሉ ነገር ድንገት ሲሆን ነው የሚያስደነግጠው። መጀመሪያ በጓንት ውስጥሽን ይመረምራሉ። ከዚያ ብልትሽን ከፈት አድርጎ የሚይዝ ቀዝቃዛ መሣሪያ ይገባል። የማህፀን በርን ያጸዱና በመሣሪያ ያዝ ያደርጉታል፤ እዚህ ጋ ቆንጠጥ ያደርጋል። የማህፀኑን ጥልቀት ሲለኩና ሉፑን ሲያስገቡ ጠንካራ ቁርጠት ይመጣል። በአፍሽ ረጅም ትንፋሽ አውጪ፣ መቀመጫሽን አታንሺ። ሁሉም ነገር ጥቂት ደቂቃ ነው። ምጥ የምታውቅ ሴት «ይሄ ነው እንዴ?» ትላለች፤ ያልወለደች ደግሞ ሊያማት ይችላል። ሁለቱንም ሰምቻለሁ፤ ሁለቱም እውነት ነው።

ክሩን ሲቆርጡ በጣም አታሳጥሩት በያቸው። አጭር ክር ቀጥ ብሎ ይቆምና ባልሽን ይወጋዋል። ትንሽ ረዘም ያለው እየለሰለሰ ይጠቀለላል። «ይወጋኛል» ካለሽም ማስወጣት የለብሽም፤ ተመልሰሽ ክሩን ያስተካክሉልሻል።

እንዳለቀ ዘለሽ አትውረጂ። አንዳንድ ሴት ላብ ያጠምቃታል፣ ታዞራለች። ትንሽ ጋደም በዪ። የአራብሳን ኮብልስቶን በባጃጅ ስትመለሺ እያንዳንዱ ጉድጓድ ሆድሽ ውስጥ ይሰማሻል፤ ሉፑን ግን አያወልቀውም። ሾፌሩን «ቀስ በል ወንድሜ» በይው።

ካርዱን አትጣዪ። የሉፑ ዓይነት፣ የገባበት ቀንና የሚወጣበት ዓመት መጻፉን እዚያው እያለሽ እዪ። ዓመቱ በኛ ይሁን በፈረንጅ አስለዪ፤ በኛ 2018 የገባ ባለ 12 ዓመት የሚወጣው በኛ 2030 ነው። ካርድ ቤት ሲቀየር ይጠፋል፣ ስለዚህ በስልክሽ ፎቶ አንሺው።

ክሩን መፈተሽ ብዙዎቻችን የምናፍረው ነገር ነው። ባናፍር ይሻላል፤ ሉፕ ሳይታወቅ ሊወጣ ይችላል። ይሄ በብዛት የሚያጋጥመው በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ በተለይም በወር አበባ ጊዜ ነው። እንዲህ ነው የሚፈተሸው፦ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ጥፍርሽ ይቆረጥ። ቁጢጥ በዪ፣ ወይም አንድ እግርሽን በርጩማ ላይ አድርጊ። መሀል ጣትሽን ወደ ውስጥና ወደ ኋላ አስገቢ፣ የአፍንጫ ጫፍ የመሰለ ጠንከር ያለ ነገር እስኪነካሽ ድረስ። እሱ የማህፀን በር ነው። ከሱ የሚወጡ ቀጫጭን ክሮች ይነኩሻል። ነክተሽ ተያቸው፣ አትጎትቺ። በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ፣ ከዚያ በኋላ የወር አበባሽ ካለፈ በኋላ አልፎ አልፎ ብታዪው በቂ ነው።

ክሩ ከጠፋ፣ ከበፊቱ ከረዘመ፣ ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ከነካሽ ሂጂ። እስክትታዪ ድረስ ኮንዶም ተጠቀሚ። ክር ጠፋ ማለት ሉፑ ወጣ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ክሩ ወደ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ በአልትራሳውንድ ይታያል። ማህፀን መብሳትም አለ፣ ግን ከ1,000 አንድ ገደማ ነው።

ትኩሳት፣ የማይለቅ የታችኛው ሆድ ሕመም፣ የሚሸት ፈሳሽ፣ የቀረ የወር አበባ፤ ከነዚህ አንዱ ካለ ነገ አትበዪ። ኢንፌክሽን በብዛት የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ነው። ሉፕ እያለ እርግዝና ከተፈጠረ ደግሞ ከማህፀን ውጭ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ መታየት አለበት። ኤችአይቪንም ሆነ የአባላዘር በሽታን ሉፕ አይከላከልም፤ ባልሽን ካላመንሽው ኮንዶሙም ይኑር።

ለወላዶች አንድ ነገር። ከወለድሽ በ48 ሰዓት ውስጥ እዚያው ሊገባልሽ ይችላል፤ ካለፈሽ 4 ሳምንት ጠብቂ። እንደወለድሽ የገባው የመውጣት ዕድሉ ከፍ ስለሚል ክትትሉን አትርሺ። የመዳቡ ወተት አይቀንስም።

ካልተስማማሽስ? ታስወጪዋለሽ። ምክንያት እንድታቀርቢ ማንም ሊያስገድድሽ አይችልም። አንዷ ደንበኛዬን የሄደችበት ቦታ «ገና ነው፣ ታገሺ» እያሉ ሦስት ጊዜ መለሷት፤ ሌላ ቦታ ሄዳ በዚያው ቀን ወጣላት። መምከር ይችላሉ፣ መከልከል አይችሉም። አንቺም በር ላይ ቁርጥ አድርገሽ ተናገሪ፦ «ልማከር አይደለም የመጣሁት፣ ላስወጣ ነው።» ሲወጣ ከመግባቱ ይቀላል፤ ሳል አድርጊ ይሉሻል፣ ያልቃል።

ማርገዝ ካልፈለግሽ ግን ከማስወጣትሽ በፊት ባሉት 7 ቀናት ወይ ግንኙነት አታድርጊ፣ ወይ ኮንዶም ተጠቀሚ። የወንዱ ዘር ውስጥሽ ቀናት ስለሚቆይ ሉፑ በወጣ ማግስት ልታረግዢ ትችያለሽ። ሌላውን መከላከያ፣ መርፌም ይሁን በክንድ የሚቀበረው፣ በዚያው ቀን እዚያው አስጀምሪ።