የፕሮፌሽናል ተከላካይነት ሙያ፦ ከወጣት ቡድን እስከ መጨረሻው ውል

ተከላካይ መሆን የሚፈልግ ወጣት ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚለማመደው ሸርተቴ መውረድን ነው። ከአጥቂ እግር ሥር ተንሸራቶ ኳስ መንጠቅ ተመልካችን ከመቀመጫው ያስነሣል፤ ክለቦች ለተከላካይ ደመወዝ የሚከፍሉት ግን በዋናነት ከዚያ በፊት ባሉት ሦስትና አራት ሰከንዶች ውስጥ ለሚሠራው ሥራ፣ ማለትም አደጋው የት እንደሚፈጠር አስቀድሞ አይቶ በቦታው ለመገኘት ነው። በዚህ ሥራ የተካነ ተጫዋች ፍጥነቱ ከቀነሰ በኋላም ለዓመታት ይጫወታል፤ በሩጫና በጉልበት ብቻ የሚተማመን ግን ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ከተቀያሪ ወንበር ጋር ሊላመድ ይችላል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ሙያውን በቁም ነገር ለያዘ ወጣትና አብረውት ለሚወስኑ ቤተሰቦቹ ነው።

የመጫወቻ ቦታን ስለ መምረጥ

በአሥራ አራትና በአሥራ አምስት ዓመት ዕድሜ «እኔ የመሀል ተከላካይ ነኝ» ብሎ መወሰን አያስፈልግም። ከታላላቅ ተከላካዮች ብዙዎቹ አሁን በሚታወቁበት ቦታ ላይ አልጀመሩም። ፓውሎ ማልዲኒ ለረጅም ጊዜ የግራ መስመር ተከላካይ ሆኖ ከተጫወተ በኋላ ወደ መሀል ገብቷል፤ ሰርጂዮ ራሞስ ከቀኝ መስመር፣ ሀቪየር ማስቼራኖ ደግሞ ከተከላካይ አማካይነት ተነሥተው የመሀል ተከላካይ ሆነዋል፤ አልፎንሶ ዴቪስ ወደ ባየርን ሙኒክ የመጣው በክንፍ አጥቂነት ሲሆን፣ ስም ያተረፈው ግን በግራ መስመር ተከላካይነት ነው። ስለዚህ አሰልጣኝ ቦታ ሲያቀያይር ቅር ከመሰኘት ይልቅ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ሜዳው እንዴት እንደሚታይ መማር ይሻላል፤ ሁለት ቦታ በብቃት የሚሸፍን ተከላካይ በማንኛውም ቡድን ውስጥ ከመጨረሻዎቹ ተሰናባቾች አንዱ ነውና።

ቁመትን በተመለከተ ብዙ ወጣቶች ከሚገባው በላይ ይጨነቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ጣሊያንን በአምበልነት መርቶ የዓለም ዋንጫን ያነሣውና በዚያው ዓመት የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት የሆነውን ባሎን ዶርን ያሸነፈው ፋቢዮ ካናቫሮ ቁመቱ 1.76 ሜትር አካባቢ ነበር። ፊሊፕ ላም ደግሞ 1.70 ሜትር ብቻ ሆኖ በዓለም ምርጥ ከሚባሉት የመስመር ተከላካዮች አንዱ ሆኗል። ረጅም መሆን በመሀል ተከላካይነት እንደሚያግዝ አይካድም፤ ሆኖም አጭሩ ተጫዋች ኳሱ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ካወቀና በጊዜው ከዘለለ ረጅሙን ሊቀድመው ይችላል።

ግራኝ የሆነ የመሀል ተከላካይ ይህን ተሰጥኦውን በሚገባ ሊጠብቀው ይገባል። በመሀል ተከላካዮች በግራ በኩል የሚሰለፍ ቀኝ እግር ተጫዋች ከግብ ጠባቂው ኳስ ሲቀበል ሰውነቱን ወደ ውስጥ ማዞር ስላለበት፣ ጫና ለሚያደርግበት አጥቂ አንዲት ሰከንድ ይሰጠዋል። ግራኙ ግን በመጀመሪያው ንክኪ ወደ መስመሩ ማቀበል ስለሚችል ክለቦች በብርቱ ይፈልጉታል።

የየዕለቱ ሥራ

አንድን የቀኝ መስመር ተከላካይ ፈጣን የክንፍ አጥቂ ኳስ ይዞ ሲመጣበት እንመልከት። ኳሱ ወደ አጥቂው በጉዞ ላይ ሳለ ተከላካዩ በፍጥነት ርቀቱን ያጠብባል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ሜትሮች ሲቀሩ ግን ርምጃውን አሳጥሮ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ ክብደቱን በእግሩ ጣቶች በኩል ጥሎ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን በጎኑ ይቆማል። አጥቂው ወደ ውስጥ ገብቶ ለግብ እንዳይመታ ከፈለገ ለሜዳው መሀል የቀረበውን ግራ እግሩን አስቀድሞ ወደ መስመሩ የሚወስደውን መንገድ ብቻ ይተውለታል። ዓይኑ ኳሱ ላይ ነው፤ የአጥቂው ትከሻና ወገብ ያታልላል፣ ኳሱ ግን ካልተነካ አይንቀሳቀስም። ከዚያ በኋላ መታገሥ ነው፤ አጥቂው ኳሱን ከእግሩ አስረዝሞ በነካበት ቅጽበት እግር ይገባል፣ ካላስረዘመ ደግሞ ወደ ኋላ እየተሸሸ አጋዥ እስኪመጣ ድረስ ጊዜ ይገዛል። ይህን አንድ ልምምድ በሳምንት ደጋግሞ መሥራት በጂም ውስጥ ከሚጠፋው ተጨማሪ ሰዓት የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

የመከላከያ መስመርን በኅብረት መጠበቅ ደግሞ ሌላው መሠረታዊ ጉዳይ ነው። ዘመናዊው መከላከል የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1925 የከጨዋታ ውጪ ሕግ ሲሻሻልና በአጥቂውና በግቡ መስመር መካከል መኖር ያለባቸው ተጋጣሚዎች ከሦስት ወደ ሁለት ሲቀነሱ ነው። ከ1990 ወዲህ ደግሞ ከሁለተኛው የመጨረሻ ተከላካይ ጋር እኩል የቆመ አጥቂ በሕጋዊ ቦታ ላይ እንዳለ ይቆጠራል። የቪዲዮ ዳኝነት ባለበት ውድድር የአንድ ተከላካይ ተረከዝ ጓደኞቹ ሁሉ የሠሩትን ሥራ ሊያፈርስ ስለሚችል፣ መቼ ወደ ፊት እንደሚወጣና መቼ ወደ ኋላ እንደሚሸሽ አራቱም የመስመሩ ተከላካዮች በአንድ ምልክት መስማማት አለባቸው። ምልክቱም ኳስ የያዘው ተጋጣሚ ራሱ ነው። ጀርባውን ሰጥቶ ወይም አንገቱን ደፍቶ ጫና ውስጥ ካለ መስመሩ ወደ ፊት ይወጣል፤ ቀና ብሎ ማንም ሳይነካው ለማቀበል ከተዘጋጀ ግን መስመሩ ኳሱ ሳይመታ ወደ ኋላ መሸሽ ይጀምራል። ኳሱ ከተመታ በኋላ ዞሮ መሮጥ የጀመረ ተከላካይ ውድድሩን አስቀድሞ ተሸንፏል።

ይህን ለማንበብ አንገትን ማዞር ያስፈልጋል። ኳሱ በሌላው የሜዳ ክፍል ሳለ በየጥቂት ሰከንዱ ከጀርባ ማን እንዳለ ቃኝቶ መመለስ እንደ መተንፈስ ልማድ እስኪሆን ድረስ በልምምድ ሜዳ ላይ መደጋገም አለበት። ወጣት ተከላካዮች ግብ የሚቆጠርባቸው ብዙውን ጊዜ አጥቂው በልጧቸው ሳይሆን ኳሱን ብቻ ሲመለከቱ ከበስተጀርባቸው ስለ ገባ ነው።

መናገርም እንደዚሁ ነው። «ውጣ»፣ «ተመለስ»፣ «ከጀርባህ ሰው አለ»፤ ቃላቱ አጭር፣ ድምፁም ቁርጥ ያለ መሆን አለበት። ወደ ሌላ አገር ሊግ የሚዛወር ተከላካይ ከሰላምታ ቀጥሎ ሊማር የሚገባው እነዚህን ቃላት ነው፤ አጥቂ ሳይናገር ግብ ሊያስቆጥር ይችላል፣ ዝምተኛ የመሀል ተከላካይ ግን ጎረቤቱን ለአደጋ ያጋልጣል።

ሕጉን ማወቅ የሥራው አካል ነው። ከ1992 ጀምሮ ግብ ጠባቂ የቡድን ጓደኛው ሆን ብሎ በእግሩ ያቀበለውን ኳስ በእጁ መያዝ አይችልም፤ ከ2019 ወዲህ ደግሞ የግብ ምት ከቅጣት ክልሉ ሳይወጣ መጫወት ተፈቅዷል። ሁለቱም ለውጦች ተከላካይን ከኳስ ጠራጊነት ወደ ጨዋታ ጀማሪነት አሸጋግረውታል፤ ዛሬ በጫና ውስጥ ተረጋግቶ ማቀበል የማይችል ተከላካይ በከፍተኛ ደረጃ ቦታ ማግኘት ይከብደዋል። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በቅጣት ክልል ውስጥ ግልጽ የግብ ዕድል ያመከነ ተከላካይ ኳሱን ለመጫወት ሞክሮ ጥፋት ከሠራ ከፍጹም ቅጣት ምቱ ጋር የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ነው፤ ከጎተተ፣ ከያዘ ወይም ከገፋ ግን ቀይ ካርድ ይመዘዝበታል። ስለዚህ የተቀደመ ተከላካይ እጁን ከአጥቂው ማልያ ላይ ማንሣትን መልመድ አለበት። ፊሊፕ ላም በረጅሙ የተጫዋችነት ዘመኑ አንድም ቀይ ካርድ ሳያይ ጫማውን መስቀሉ፣ በንጽሕና መከላከል እንደሚቻል የሚያሳይ ነው።

የቆሙ ኳሶች፣ ማለትም የማዕዘንና የቅጣት ምቶች፣ ሁለት ጥቅም አላቸው። በራስ ግብ በኩል ትኩረትን ይፈትናሉ፤ በተጋጣሚ ግብ በኩል ደግሞ የተከላካይን ዋጋ ከፍ ያደርጋሉ። ራሞስ እ.ኤ.አ. በ2014 የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ላይ በመደበኛው ጨዋታ መጨረሻ በተጨመሩት ደቂቃዎች የማዕዘን ምትን በግንባሩ ገጭቶ አቻ ያደረገባት ግብ ለሪያል ማድሪድ ዋንጫውን መልሳለታለች። ሆኖም ኳስን በግንባር መግጨት ያለ ልክ ሊለማመዱት የሚገባ ነገር አይደለም፤ በእንግሊዝ ከ2021 ጀምሮ በልምምድ ላይ በኃይል የሚገጩ ኳሶች በሳምንት ከአሥር እንዳይበልጡ የሚመክር መመሪያ ወጥቷል። ስለዚህ አዘላለሉንና ጊዜ አጠባበቁን በእጅ በሚወረወር ቀላል ኳስ መለማመድ ይበቃል።

ወደ ዋናው ቡድን፣ ወደ ውል

አሰልጣኞች አጥቂን በሰባኛው ደቂቃ ቀይረው ለመሞከር አያመነቱም፤ የመከላከያ መስመራቸውን ግን ያለ ችግር አይነካኩም። በዚህ ምክንያት ወጣት ተከላካይ የጨዋታ ጊዜ የሚያገኘው ዘግይቶ ነው፣ ይህም ተስፋ ሊያስቆርጠው አይገባም። ቨርጂል ቫን ዳይክ ከግሮኒንገን ወደ ሴልቲክ፣ ከዚያ ወደ ሳውዝሃምፕተን ሄዶ ሊቨርፑል በ75 ሚሊዮን ፓውንድ የወሰደው እ.ኤ.አ. በጥር 2018፣ በ26 ዓመቱ ነበር። በእያንዳንዱ ክለብ በቋሚነት ተሰልፎ መጫወቱ በትልቅ ክለብ ወንበር ላይ ከመቀመጥ የበለጠ አሳድጎታል።

በውሰት፣ ማለትም የክለቡ ተጫዋች እንደሆነ ለጊዜው ለሌላ ቡድን ለመጫወት፣ ለመሄድ የሚያስብ ተጫዋች ከፊርማው በፊት መጠየቅ ያለበት ስለ ከተማው ወይም ስለ ስታዲየሙ ሳይሆን ስለ ቡድኑ ነው። በቦታው ላይ ስንት ተጫዋቾች አሉ? አሰልጣኙ መስመሩን ወደ ፊት ገፍቶ ነው ወይስ ወደ ግቡ ቀርቦ የሚከላከለው? አሰልጣኙ ቢሰናበት ምን ይሆናል? በውሰት ቡድን ውስጥ በወንበር የጠፋ ዓመት ለተከላካይ እጅግ ውድ ነው።

ውልን በተመለከተ የፊፋ ደንብ ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ ተጫዋቾች ከሦስት ዓመት በላይ እንዳይፈርሙ ይገድባል፤ ለሌሎች የተቀመጠው ጣሪያ በመርሕ ደረጃ አምስት ዓመት ነው። ውሉ ሊያበቃ ስድስት ወር የቀረው ተጫዋች ከሌላ ክለብ ጋር መፈራረም ይችላል። ውሉ ያለቀ ተጫዋች ያለ ክፍያ የመዛወር መብቱን ያጸናው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 የአውሮፓ ፍርድ ቤት የሰጠው የቦስማን ውሳኔ ነው። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከጥቂት በደንቡ ከተዘረዘሩ ሁኔታዎች በቀር ከአገር ወደ አገር መዛወር ስለማይፈቀድለት፣ «ልጃችሁን ውጭ አስሞክረዋለሁ» እያለ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ቤተሰብ በሩን መዝጋት አለበት። ወኪል ሲመረጥም ፈቃዱን ማየት ግዴታ ነው።

በጉርሻ አንቀጾች ላይ አንድ ነገር ልበል። ለተከላካዮች ግብ ባልተቆጠረባቸው ጨዋታዎች የሚታሰብ ጉርሻ ማቅረብ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ይህ በግብ ጠባቂው፣ በአማካዮቹና በዕድል ላይ የሚንጠለጠል ስለሆነ፣ የምመርጠው ተሰልፎ በተጫወተባቸው ጨዋታዎች ብዛት የሚታሰበውን ነው። በጉዳት ጊዜ ደመወዙ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀጥልና ቡድኑ ወደ ታችኛው ሊግ ቢወርድ ምን ያህል እንደሚቀነስ የሚገልጹት መስመሮችም ከደመወዙ አኀዝ እኩል በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። በልጅነት የተጫወተባቸው ክለቦች ምዝገባም ተጠብቆ ይቆይ፤ ውሉ ሳያልቅ በክፍያ ከአገር ወደ አገር ሲዛወር የዝውውር ክፍያው አምስት በመቶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላልና።

አካልን ስለ መጠበቅ

ተከላካይ የሚሮጠው በአጥቂው ፈቃድ ስለሆነ በድንገት መቆም፣ መዞርና ወደ ኋላ መሸሽ ጉልበቱንና የጭኑን የኋላ ጡንቻ ይጎዱበታል። የጡንቻው ማጠናከሪያ ልምምድና ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት የሚሠራ ሥርዓት ያለው ማሟሟቂያ ጉዳትን በጉልህ እንደሚቀንሱ የታወቀ ነው፤ የጉልበት ጅማት መበጠስ በሴት ተጫዋቾች ላይ በብዛት ስለሚከሰት ለእነርሱ ይህ ይበልጥ አስፈላጊ ነው። ቫን ዳይክ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ጅማቱ ሲጎዳ የዚያን የውድድር ዘመን ቀሪ ጨዋታዎች በሙሉ አጥቷል፤ በአውሮፓ ዋንጫው ላይም ከመሰለፍ ይልቅ ማገገሙን መርጧል። በአንጻሩ ፍራንኮ ባሬሲ በ1994 የዓለም ዋንጫ መካከል የጉልበት ቀዶ ሕክምና አድርጎ በፍጻሜው መጫወቱ እስከ ዛሬ በአድናቆት ይነገራል። የሚደነቅ ነው፤ ሃያ ዓመት ላልሞላው ተጫዋች ግን ምሳሌ ሊሆን አይገባም። ራሱን የተመታና የዞረበት ተጫዋችም ጉዳቱን ደብቆ አይቀጥል።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ

እግር ሲከብድ መነሻን ማስቀደም ያስፈልጋል፤ የሚዘገየውን ግማሽ ርምጃ የሚተካው ቀድሞ ማየት ነው። ማልዲኒ በኤሲ ሚላን እስከ 40 ዓመቱ ተጫውቶ እ.ኤ.አ. በ2009 ያቆመው፣ ቲያጎ ሲልቫ 36 ዓመት ሊሞላው ሲል ወደ ቼልሲ ሄዶ በ2021 የቻምፒየንስ ሊግን ያነሣው፣ ፔፔም በ41 ዓመቱ በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ የተሰለፈው በዚህ መንገድ ነው። ነገር ግን የክለብ ምርጫው አብሮ መቀየር አለበት። መስመሩን እስከ ሜዳው አጋማሽ የሚገፋ ቡድን በዕድሜ የገፋ ተከላካይን ከጀርባው ባለው ሰፊ ቦታ ያጋልጠዋል፤ ወደ ግቡ ቀረብ ብሎ የሚከላከል ቡድን ግን ልምዱን ይጠቀምበታል። በዚህ ዕድሜ የሚቀርበው ውል አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዓመት ስለሆነ፣ የተወሰነ ጨዋታ ሲሞላ በራሱ ለተጨማሪ ዓመት የሚራዘምበትን አንቀጽ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አሰልጣኝ ለመሆን የሚያስብ ሰው ደግሞ የሥልጠና ፈቃዱን ገና እየተጫወተ ሳለ ይጀምር። ደረጃዎቹ በተራ የሚወሰዱና በመካከላቸው የሥራ ልምድ የሚጠይቁ በመሆናቸው ከመጀመሪያው እስከ ከፍተኛው ለመድረስ ዓመታት ይወስዳል፤ ብዙ ክለቦችም በመጨረሻው የውል ዓመት ላይ ያለ ተጫዋች የወጣት ቡድኑን ልምምድ በሳምንት አንድ ቀን እንዲያግዝ ሲጠይቅ በደስታ ይፈቅዳሉ።