በዩኒቨርሲቲ ክፍል ስንከራከር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ተሰልፈው ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ ቀጠለ። ይሁንና ጥያቄው ዛሬም በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ አካባቢ በየክፍሉ ተማሪን ያከራክራል። በዚሁ ሰፈር ሳስተምር ውይይቶች ሲበላሹ ያየሁት ከርእሱ ክብደት ይልቅ በተከራካሪዎቹና በመምህሩ ስህተት ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ሐሳቡን ትቶ የተናጋሪውን ትውልድ መፈለግ ነው። አንድ ተማሪ «ገበሬው መሬቱን መሸጥና በዋስትና ማስያዝ ቢችል ከባንክ ተበድሮ ምርቱን ያሳድጋል» ብሎ ሲከራከር፣ ከኋላው የተቀመጠው ጓደኛው «ለመሆኑ አንተ የየት አገር ልጅ ነህ?» አለው። ተማሪው አልመለሰለትም፤ የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠመ፣ ደብተሩንም ዘጋ። እኔም ሰዓቱ ተገባዷል በሚል ሰበብ ወደ ሌላ ርእስ ተሻገርኩ። ማለት የነበረብኝ «ለተናገረው መልስ ስጠው፤ ትውልዱ የውይይታችን ጉዳይ አይደለም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ጠያቂው መልስ አጥቶ እንዳይመስል፣ በድርቅ ዓመት ችግር የገፋው ገበሬ መሬቱን በርካሽ ሸጦ ባዶ እጁን ወደ ከተማ ሊፈልስ ይችላል የሚለው ጠንካራ መከራከሪያ በእጁ ነበረ።

ሁለተኛው ስህተት ላልተባለው ነገር መልስ መስጠት ነው። «ገበሬው መሸጥ ይፈቀድለት» ያለውን ሰው «ገበሬው ይፈናቀል ትላለህ» ብሎ መክሰስ ጭብጨባ ቢያስገኝም ክርክሩን ወደፊት አያራምደውም። ከመቃወም በፊት «ያልከው እንዲህ ነው፤ በትክክል ተረድቼሃለሁ?» ብሎ መጠየቅ ጥቂት ሰከንዶችን ብቻ ይወስዳል። በዚህ ረገድ ቅዱሳት መጻሕፍትን የሚተረጉሙ የቤተ ክርስቲያን የአንድምታ መምህራን ልማድ ያስቀናኛል፦ ኃይለ ቃሉን በአንድ መንገድ ከፈቱት በኋላ «አንድም» ብለው ሌላውን ፍቺ ያስከትላሉ፤ ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው አይሰረዝም። በዩኒቨርሲቲ ክርክር እርግጥ ነው አንዱ ሐሳብ በማስረጃ ሊወድቅ ይችላል፤ ቢሆንም ከመውደቁ በፊት ባለቤቱ በሚያውቀው መልክ ሊነገር ይገባዋል።

ተረትና ምሳሌን በማስረጃ ቦታ መተካትም የተለመደ ነው። ምሳሌያዊ አነጋገር ንግግርን ያጣፍጣል፤ ክፍሉ ስለሳቀ ግን ነጥቡ ተረጋገጠ ማለት አይደለም። አንደበተ ርቱዕነት እጅግ በሚደነቅበት በጥንቱ የበላ ልበልሃ የፍርድ ሙግት እንኳ ምስክር ይጠየቅ ነበር።

የክፍል ጓደኛ ሲናገር በስልክ ቀርጾ ያለ ፈቃዱ በቴሌግራም መልቀቅ፣ ሴት ተማሪ ስትናገር አቋርጦ ሐሳቧን «ላብራራላት» ማለት ብዙ ማብራሪያ የማያሻቸው ነውሮች ናቸው። መምህሩ አስቀድሞ የራሱን አቋም መናገሩ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ስህተት ባይቆጠርም ስህተት ነው፤ ታላቅን መቃወም እንደ ድፍረት በሚታይበት ባህል ያደገ ተማሪ፣ መምህሩ ወዴት እንዳዘነበለ ካወቀ በኋላ የልቡን አይናገርም።

የመጨረሻው፣ እኔም ዘግይቼ የተረዳሁት ስህተት፣ ዝምታን እንደ ስምምነት ወይም እንደ ስንፍና መቁጠር ነው። በክፍላችን አማርኛን ሁለተኛ ቋንቋ አድርገው የተማሩ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማልኛ ወይም በትግርኛ የሚያስቡ ተማሪዎች አሉ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ ክርክሩ ሲጋጋል ደግሞ ሁሉም ወደ አማርኛ ይሮጣል፣ በዚያ ፍጥነት ውስጥ ሐሳቡን አሰናድቶ እጁን የሚያወጣው ሰው ተራው ያልፈዋል። ደብተሩን የዘጋው ተማሪም እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ አንድ ቃል አልተናገረም፤ እኔም በውጤት መመዝገቢያዬ ላይ «ተሳትፎ አነስተኛ» ብዬ ጻፍኩበት። ከዚያ ወዲህ ጥያቄውን በሰሌዳው ላይ ከጻፍኩ በኋላ ማንም ከመናገሩ በፊት ሦስት ደቂቃ እሰጣለሁ፤ ሁሉም አቋሙንና አንድ ምክንያቱን በወረቀት ላይ ያሰፍራል። የመጀመሪያውን ዕድል የምሰጠው ባለፈው ሳምንት ላልተናገረ ተማሪ ነው፤ ጽሑፉን በፈለገው ቋንቋ ጀምሮ ቢያነብልንም እናዳምጠዋለን፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ጓደኛውም ይተረጉምልናል።