ባለሀብቱ «እናስብበት» ብሎ ሲጠፋ፦ የከተማ የአየር ንብረት ፕሮጀክቶች ችግርና መፍትሄ

የከተሞችን የአየር ንብረት ፕሮጀክት ይዤ አበዳሪና ባለሀብት ፊት ስቀርብ ዓመታት አልፈዋል። የመሬት ይዞታው፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማውና የምክር ቤቱ ውሳኔ አልቀዋል ብዬ ልጀምር። እናንተ የከተማ አስተዳደር ሰዎች፣ ካላለቁ መጀመሪያ እነሱን ጨርሱ።

ምልክት፦ ስብሰባው ሞቅ ብሎ አለቀ፤ ከዚያ የሚደውል ጠፋ

በብዛት የሚገጥመኝ ይኼኛው ነው። መግባቢያ ሰነድ ተፈርሟል፤ ፎቶም ተነስተዋል። ሦስት ወር ያልፋል፣ ድምፅ የለም። ከንቲባው «ባለሀብቶቹ ቁም ነገረኛ አይደሉም» ይላል።

ምክንያቱ ሰነዱ ውስጥ ነው፤ ከፋይ የለውም። ስንት ቶን ካርቦን እንደሚቀንስ አሥር ገጽ ተጽፏል። ገንዘቡን ማን፣ ከየትኛው ሂሳብ፣ በየትኛው ቀን እንደሚመልስ ግን አንድ መስመር አልተጻፈም።

የመንገድ መብራትን እንይ። የድሮውን የሶዲየም አምፖል በኤልኢዲ መቀየር የኤሌክትሪክ ፍጆታን በግማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ሁሉም «ቁጠባው ብድሩን ይከፍላል» ብሎ ይመጣል። አንድ ከተማም እንዲሁ ብሎ መጣ። የኤሌክትሪክ ሂሳቡን አሳዩኝ አልኩ። ለካ መብራቱ ቆጣሪ የለውም! ሂሳቡ የሚመጣው በምሰሶ ብዛት ተገምቶ ነው። ምሰሶው ላይ ምንም አምፖል ቢሰቀል ከተማው የሚከፍለው ያው ነው። ብድሩን ይከፍላል የተባለው ቁጠባ ከወረቀት አይወርድም ነበር።

በዚያ አላበቃም። ማታ በመኪና ዞረን መብራቶቹን ቆጠርን። ሲሶ ያህሉ አይበራም። ጥናቱ ግን ሁሉም እንደሚበራ አድርጎ ነው የድሮውን ፍጆታ ያሰላው። አዲሶቹ ሲተከሉ ጨለማ የነበረውም ሰፈር ይበራል። ለነዋሪው ትልቅ ነገር ነው፤ ደስም ይላል። ለአበዳሪው ግን ቁጠባው ከተባለው በጣም ያንሳል።

መፍትሄው ይህ ነው። በየመስመሩ ቆጣሪ አስገቡ። በንባቡ ልክ ለመክፈል ከኤሌክትሪክ አቅራቢው ጋር ውል ግቡ። የ12 ወር ንባብ ያዙ። የማይበሩትን ምሰሶዎች ለብቻ ቁጠሩና እነሱን የማብራቱን ወጪ ከተማው በራሱ በጀት ይቻለው። ያ አገልግሎት ነው፤ ቁጠባ ብላችሁ አትጻፉት።

ሌላ ከተማ ይህን ሁሉ በደንብ ሠራ። መብራቱ በራ፣ ሂሳቡም ወረደ። በቀጣዩ ዓመት የፋይናንስ ቢሮው የመብራት በጀት ላይ «ትርፍ» አየና በተቆጠበው ልክ ቀነሰው። ብድሩ የሚከፈለው ከዚያው ገንዘብ ነበር። መብራቱን የተከለው ድርጅት ሰባት ወር ሳይከፈለው ቆየ። የተበላሸ አምፖል የለም፣ የሰረቀ ሰው የለም፤ የበጀት ባለሙያው ውሉን የሚያሳየው አጥቶ ነው። ስለዚህ ምክር ቤቱ በውሉ ዘመን የመብራት በጀቱ እንዳይነካ በጽሑፍ ይወስን። ገንዘቡ ለብቻው በተከፈተ ሂሳብ ይግባ፤ ከዚያ ሂሳብ መጀመሪያ የሚከፈለው ብድሩ ይሁን።

ማስጠንቀቂያ፦ የጎርፍ መውረጃ ቦይን «ገቢ ያስገኛል» ብላችሁ አታቅርቡ። ቦይ ሕይወት ያድናል፣ ቤት ያድናል፤ ትኬት ግን አይቆርጥም። በከተማው ጠቅላላ ገቢ በሚከፈል ቦንድ፣ በንብረት ግብር ወይም በእርዳታ ሥሩት።

ማስጠንቀቂያ፦ የካርቦን ሽያጭን፣ ማለትም የቀነሳችሁትን ብክለት ለሌላ መሸጥን፣ ዋና ገቢ አታድርጉት። ዋጋው ይወጣል፣ ይወርዳል። ከተገኘ ምርቃት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የቆሻሻ ማንሻ ክፍያ ከከተማው ጠቅላላ ካዝና ጋር ከተቀላቀለ ለአበዳሪው የለም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ አዋጭነት ጥናት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከሌላ ከተማ የተገለበጠ ጥናት ደጋግሜ አይቻለሁ። የከተማው ስም ተቀይሯል፤ የሕዝብ ቁጥሩና የዝናብ መጠኑ የሌላው ነው። ባለሀብቱ አንድ እንዲህ ያለ ቁጥር ካገኘ ትክክለኛዎቹንም አያምናቸውም። ይህን አዘጋጅቶ ገንዘብ መቀበል ነውር ነው። አማካሪው የመጨረሻውን ክፍያ ከማግኘቱ በፊት የኤክሴሉን ፋይል ከነቀመሩ ተቀበሉ። ፒዲኤፍ ብቻ የሚሰጥ አማካሪን አታስተናግዱ።

ምልክት፦ ባለሀብቶቹ «ፕሮጀክቱ ለእኛ ትንሽ ነው» ይላሉ

እውነታቸውን ነው። የሕግና የሂሳብ ምርመራው ለትንሽም ለትልቅም ፕሮጀክት የሚወስደው ወጪ ተቀራራቢ ነው። ከጎረቤት ከተሞች ጋር በአንድ ዓይነት ውልና በአንድ ዓይነት ዕቃ አጣምሩት።

ምልክት፦ ወለዱ አይቀመስም፣ ወይም ሙሉ ዋስትና አምጡ ተባለ

የከተማው የሂሳብ መዝገብ አልታመነም። የዓለም ባንክ በታዳጊ አገሮች ካሉ 500 ትልልቅ ከተሞች በአገር ውስጥ ገበያ ብድር የሚታመኑት ከ20 በመቶ በታች፣ በዓለም አቀፍ ገበያ ደግሞ 4 በመቶ ገደማ ናቸው ብሎ ነበር። ኦዲቱ በየዓመቱ በወቅቱ ይውጣ፤ ነቀፌታ ቢኖርበትም ይውጣ። ሁለት ዓመት የዘገየ ንጹሕ ኦዲት ማንንም አያሳምንም። ቀጥሎ የብድር ብቃት ደረጃ አስወጡ፤ ከተማው ብድር የመመለስ አቅሙ በገለልተኛ ድርጅት ተመዝኖ የሚሰጠው ውጤት ነው። የደቡብ አፍሪካዋ ኬፕታውን እ.ኤ.አ. በ2017 የ1 ቢሊዮን ራንድ አረንጓዴ ቦንድ (ገንዘቡ ለአካባቢ ጥበቃ ሥራ የሚውል ቦንድ) ስታቀርብ 29 ባለሀብቶች በድምሩ 4.3 ቢሊዮን ራንድ ይዘው መጡ። ያኔ ከተማዋ በከባድ ድርቅ ውስጥ ነበረች። ባለሀብቶቹ ግን መዝገቧን ያውቁት ነበር።

ምልክት፦ ሁሉም ካለቀ በኋላ በመጨረሻው ሰዓት ተሰረዘ

የሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካርን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2015 የ20 ቢሊዮን ሲኤፍኤ ፍራንክ ቦንድ ልታወጣ ተዘጋጅታ ነበር። የብድር ብቃት ደረጃ ተሰጥቷታል፤ ከአሜሪካ የልማት ድርጅትም የ50 በመቶ ዋስትና አግኝታለች። ሊወጣ ቀናት ሲቀሩት ማዕከላዊው መንግሥት አስቆመው። ቦንዱ ለመንገድ ነጋዴዎች የገበያ ማዕከል መሥሪያ ነበር እንጂ ለአየር ንብረት አልነበረም፤ ጉድጓዱ ግን አንድ ነው። የገንዘብ ሚኒስቴርን ሰዎች ከመጀመሪያው ቀን አስገቧቸው። የቃል «እሺ» አትቀበሉ። ደብዳቤ፣ ቁጥር ያለው፣ ማኅተም ያለው። መንግሥት ወይም ከንቲባ ሲቀየር ደግሞ እንደገና አጽፉት።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

ብድሩ በዶላር፣ ገቢው በአገር ገንዘብ ከሆነ፦ መጀመሪያ የአገር ውስጥ ባንክ ሞክሩ፤ ካልሆነ የምንዛሪ ስጋቱን ዋጋ ከፍላችሁ ለሌላ አስተላልፉ።

ተቋራጩ መሃል ላይ ከከሰረ፦ የአፈጻጸም ዋስትናውን (ተቋራጩ ሥራውን ባይጨርስ ባንኩ ሊከፍላችሁ የገባውን ገንዘብ) ባንኩ ዘንድ ወዲያው ጠይቁ፤ ቀኑ ካለፈ አይከፈልም።

ኤሌክትሪክ አውቶቡሶቹ ደርሰው የቻርጅ ጣቢያው መስመር ካልተዘረጋ፦ የአውቶቡሶቹ ክፍያ ከመስመሩ መጠናቀቅ ጋር በውሉ ላይ ይታሰር።