ለልጆች ተረት የሚሆን አስማተኛ እንጉዳይ እንዴት ይፈጠራል?

ጅማ ክረምት ሲገባ ልጆች ቤት ይውላሉ። ዝናቡ አያስወጣም። ጀበናው ሲጣድ "ተረት ንገሩን" ማለት ይመጣል። የጅቡና የአህያዋ ተረት ደግሞ አልቋል፤ ከነመጨረሻው በቃላቸው ይዘውታል። አዲስ መፍጠር ግድ ነው።

እኔ አስማተኛ እንጉዳይን እመርጣለሁ። ማታ ባዶ የነበረ ጉቶ ላይ ጠዋት ቆሞ ይገኛል። ተክል አይደለም፣ እንስሳም አይደለም። ልጅ ይህን ብቻ ሲሰማ ግማሹን አስማት ያምናል። የቀረውን ግማሽ እንዴት እንደምትሠሩት ልንገራችሁ። ዋናው ነገር አስማቱን ከሰማይ አለማውረድ ነው። እንጉዳይ በእውነት ከሚያደርገው ነገር ተነሱ፤ ከዚያ አንድ እርምጃ ብቻ ጨምሩበት።

ለማሳያ "ሰሚ" የሚባል እንጉዳይ አብረን እንፍጠር። ሰሚ የትም ጫካ ውስጥ የለም፤ ፈጠራችን ነው። ስለ እውነተኛ እንጉዳዮች የምነግራችሁ ግን እውነት ነው።

መጀመሪያ፦ የሚበቅልበትን ቦታ ምረጡ

"ጫካ ውስጥ" ብላችሁ አትለፉ። የትኛው ጫካ? የትኛው ዛፍ ላይ? ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ በለጠ የሚባለው ደን አለ። ቡናው እዚያ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ስር ይበቅላል። ለሰሚ ከእነዚያ ዛፎች መካከል የወደቀ ዋንዛ እንስጠው። ዋንዛ ከሰው ጋር የኖረ ዛፍ ነው። ለቡና ጥላ ይሆናል፣ አበባውን ንብ ትቀስመዋለች፣ ጣውላው በርና ወንበር ይሠራበታል። ስሩ ሰው ተቀምጦ ያወራል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። ብዙ የሰማ ዛፍ ነው።

ታሪኩን ወደ ድሮ መውሰድ ከፈለጋችሁም ጅማ ሞልታለች። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡባት አገር ናት። ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ጅሬን ኮረብታ ላይ ቆሟል። ከኮረብታው በታች ነጋዴ የሚጎርፍበት የሒርማታ ገበያ ነበር። እዚያ ገበያ ዳር አንድ ዋንዛ ትከሉ። በዚያ ዛፍ ስር ስንት ውል፣ ስንት ምስጢር እንዳለፈ አስቡት!

ቀጥሎ፦ ምን እንደሚበላ ወስኑ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ አስማቱ የሚወለደው እዚህ ነው። እንጉዳይ እንደ ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ምግብ አይሠራም። አፍም ሆድም የለውም። መፍጫ ፈሳሹን እንጨቱ ውስጥ ያፈሳል፤ የሟሟውን መልሶ ይመጥጠዋል። ምግቡን የሚፈጨው ከሰውነቱ ውጭ ነው ማለት ነው። እኛ እንጉዳይ ብለን የምናየው ደግሞ ፍሬው ነው። ዋናው አካሉ እንጨቱና አፈሩ ውስጥ የተዘረጋ ቀጭን ክር ነው። የበሰበሰ ግንድ ቅርፊት ላጥ አድርጋችሁ እዩ። ነጭ ድር የመሰለ ነገር ካገኛችሁ እሱ ነው።

አሁን አንዷን እርምጃ እንጨምር። ሰሚ እንጨቱን ሲመጥጥ፣ ዛፉ በሕይወት ዘመኑ የሰማውን ድምፅም አብሮ ይመጥጣል። በቃ፣ አስማቱ ይህ ነው። ሌላ አትጨምሩ። አይበርም፣ ሰው አይለውጥም፣ ወርቅ አይሰጥም።

ክሩ እስከ የት ይደርሳል ብለው ከጠየቋችሁ መልስ አላችሁ። አሜሪካ ውስጥ በኦሪገን ግዛት፣ ከ900 ሄክታር በላይ በሆነ መሬት ስር የተዘረጋ አንድ ፈንገስ (እንጉዳይና ሻጋታ የሚመደቡበት ወገን) ይገኛል። ስለዚህ ጅሬን ላይ የተነገረ ቃል በለጠ ደን ውስጥ ቢሰማ ልጁ አይከራከራችሁም።

መልኩን በቅርብ አሳዩ

ቆቡ የልጅ መዳፍ ያህላል። ቀለሙ የጥሬ ቡና ነው፤ ጫፉ ላይ ይጠቁራል። ከስሩ ጎንበስ ብለው ሲያዩት ስስ እጥፋቶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ሊናገር ሲል መጀመሪያ የሚንቀጠቀጡት እነሱ ናቸው። ሽታው ዝናብ የነካው አፈር ነው። ከዚህ በላይ መግለጫ አትደርድሩ፤ የቀረውን ልጁ ራሱ ይስለዋል።

የሚያበራ እንጉዳይ ብትፈልጉም ከእውነት አልራቃችሁም። በጨለማ አረንጓዴ ብርሃን የሚሰጡ የእንጉዳይ ዝርያዎች በዓለም ላይ አሉ። እኔ ግን ለሰሚ ብርሃን አልሰጠውም። ለአንድ እንጉዳይ ሁለት አስማት ይበዛበታል።

ዋጋ አስከፍሉ

ነፃ የሆነ አስማት ተረት አይሆንም። አሁንም ከእውነተኛው እንጉዳይ እንዋስ። ሲጎለምስ ራሱን ወደ ጥቁር ፈሳሽ የሚያቀልጥ የእንጉዳይ ዓይነት አለ። ጠዋት ቆሞ ያያችሁት ሲመሽ ጥቁር ጠብታ ሆኖ ይገኛል። ያንን ፈሳሽ ሰዎች ለመጻፊያ ቀለም ተጠቅመውበታል።

የሰሚ ሕግ ከዚህ ይወጣል። አንድ ሰሚ አንድ ጊዜ ብቻ ይናገራል። ተናግሮ ሲጨርስ ይቀልጣል። የሰማው ሰው ካልያዘው ቃሉ ጠፋ። በጥቁሩ ፈሳሽ ቢጻፍ ግን የሚጻፈው የተባለው ብቻ ነው፤ አንድ ፊደል የዋሸ ብዕር ይደርቃል። ለጥያቄም መልስ አይሰጥም። የሰማውን ይደግማል እንጂ።

አሁን፦ ለምን እንደሚጠቅም

በዚህ ሕግ ብዙ ተረት ይወጣል። ሁለት ጎረቤቶች በድንበር ይጣላሉ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ዋንዛው ጋ ይወስዷቸዋል። ሰሚው የአያቶቻቸውን ድምፅ ያወጣል፤ ግን አያቶቹ የተናገሩት ሁለቱም መስማት የማይፈልጉትን ነው። ጥሩ ተረት ነው፤ ትልልቆችም ይወዱታል።

እኔ የምወደው ግን ሌላ ነው። አንዲት ልጅ አያቷ ሞተውባታል። አያቷ በየጠዋቱ ዋንዛው ስር ሲመርቋት ነበር። ዝናብ በዘነበ ማግሥት ሰሚው ይበቅላል። ልጅቷ ትሮጣለች። ታናሽ ወንድሟም አለ፤ እሱ ሕፃን ስለነበር የአያቱን ድምፅ አያስታውስም። ጆሮ የሚጠጋበት ቦታ ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ማን ይስማ? እዚህ ላይ ቁሙና ልጆቹን ጠይቋቸው። የሚሰጧችሁን መልስ አትርሱት።

ሁሉን በሽታ የሚያድን እንጉዳይ ግን አትፍጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1928 ፔኒሲሊን የተገኘው ከሻጋታ ነው፤ ስንቱን ከሞት አተረፈ። እሱ እንኳ ባክቴሪያን እንጂ ጉንፋንን አያድንም። የእናንተም እንጉዳይ ካዳነ አንድ ነገር ብቻ ያድን።

ጠላት ስጡት

ጅማ ላይ ጠላት ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለባችሁም። ቡናን የሚጎዳው ራሱ የሰሚ ዘመድ ነው፤ ፈንገስ። የቡና ቅጠል ዋግ የያዘውን ቅጠል ገልብጡት፤ ጀርባው ላይ ብርቱካናማ ዱቄት ታያላችሁ። ጣት ላይ ይቀራል። የቡና ፍሬ በሽታ ደግሞ ገና አረንጓዴ ፍሬ ላይ ጥቁር ነጥብ ይጥልና ፍሬውን ያበሰብሰዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ያኔ ጅማ አጠገብ መልኮ ያሉት የምርምር ሰዎች ያደረጉት ነገር ለተረት የተሠራ ይመስላል። በታመሙት መካከል ያልታመሙትን የቡና ዛፎች ፈለጉ። ከእነሱ ዘር ወሰዱ። 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች የመጡት እንዲህ ነው፤ 74ቱ የተመረጡበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን ያሳያል።

ይህን ወደ ተረቱ አስገቡት። "ዝም" የሚባል ብርቱካናማ ዱቄት መንደሩን ይወራል። ያረፈበት ቤት ሰላምታ ይረሳል። ልጅቷ ዱቄቱ ያልያዘውን አንድ ዛፍ መፈለግ አለባት። ስትፈልግ በየዛፉ ትሄዳለች፣ ቅጠል ትገለብጣለች፣ ታያለች። አስማት አቋራጭ አይሰጣትም። ይህን ክፍል አታሳጥሩት።

አንድ የማልደራደርበት ሕግ

አስማቱ በመብላት አይምጣ። በፍጹም! ልጅ የሰማውን ይሞክራል፤ ጅማ ደግሞ እንጉዳይ ከደጅ ይበቅላል። ገዳይ እንጉዳይ ከሚበላው ጋር ሊመሳሰል ይችላል። የአንዳንዱ መርዝ ምልክት ከ6 ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው የሚታየው፤ እስከዚያ ጉበትን መጉዳት ጀምሯል። መቀቀልም መጥበስም ያን መርዝ አያጠፋውም። ስለዚህ ሕጉን ተረቱ ውስጥ አስገቡት፦ እጅ የነካው ሰሚ ለዘላለም ዝም ይላል። ይደመጣል እንጂ አይነካም። ከተረቱ ውጭም "የማታውቁትን እንጉዳይ አትንኩ፣ አትቅመሱ" ብላችሁ በግልጽ ንገሯቸው። ልጅ በልቶ ከተገኘ ሳይታመም በፊት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ፤ የተረፈውን እንጉዳይም ይዛችሁ ሂዱ።

ሲነገር

እንደ ወጉ "ተረት ተረት" በሉ፣ "የመሠረት" ይበሏችሁ። ከዚያ ከድርጊት ጀምሩ። ለምሳሌ፦ "በለጠ ደን ውስጥ አንድ ዋንዛ ወደቀ። ሲወድቅ የሰማ ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ክረምት ግን ግንዱ ማውራት ጀመረ።" ስለ ሕጉ መጀመሪያ ላይ አታስረዱ። ልጅቷ ስትሳሳት ሕጉ በራሱ ይወጣል።

ልጆች ያቋርጧችኋል። "ዛፉ ውሻ ሲጮህ ከሰማስ?" ይላሉ። ደስ ይበላችሁ፤ ይጮሃል በሉ። መልሱ ሕጉ ውስጥ ካለ ከሕጉ መልሱ። ከሌለ "አንተስ ምን ትላለህ?" ብላችሁ የእሱን መልስ ሕግ አድርጉትና በሚቀጥለው ምሽት አክብሩት። ልጅ የተሻረ ሕግ አይረሳም።

"ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" ካላችሁ በኋላ ወረቀትና እርሳስ ስጧቸው። የራሳቸውን እንጉዳይ ይፍጠሩ። የት ይበቅላል፣ ምን ይበላል፣ ምን ያስከፍላል ብላችሁ ጠይቋቸው። "አይነካም፣ አይበላም" የሚለውን ግን እናንተ በጉልህ ጻፉበት።