ፍሪጁ በረዶ መስራት ሲያቆም፦ ኮምቦልቻ ሌላ፣ ደሴ ሌላ

ባለፈው ረመዳን ነው። የማግሪብ አዛን ሊል ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ባለቤቴ የማንጎ ጭማቂውን በጆግ አድርጋ በረዶ ልትጨምርበት ፍሪዘሩን ከፈተች። ፍሪጃችን ከቧንቧ ውሃ እየወሰደ በራሱ በረዶ የሚሰራ ነው፤ በረዶው የሚጠራቀምበት ሳጥን ግን ባዶ ነው። አንዲት ፍሬ በረዶ የለችም። የኮምቦልቻን ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ቀኑን ሙሉ ጾሞ የዋለ ቤተሰብ ለብ ባለ ጭማቂ አፈጠረ።

በማግስቱ ያስጠራነው ባለሙያ ከኋላ አየት አደረገና «በረዶ መስሪያው ሙሉ በሙሉ ይቀየር» አለን። አልቀየርነውም። ሁለት ቀን ተቀምጬ ስፈትሸው ዕቃው ምንም አልሆነም። የጎደለው የውሃ ግፊት ነበር። ህዳር ላይ ደግሞ ደሴ ሆጤ ያለችው እህቴ «የኔም ቆመ» ብላ ደወለች። በመካከላችን ያለው የሀረጎ ዳገት ነው፤ ምክንያቱ ግን ፈጽሞ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት እኔ በሄድኩበት ቅደም ተከተል ሞክሩት። አብሽሩ፣ ብዙውን ጊዜ በእጃችሁ የሚፈታ ነገር ነው።

መጀመሪያ አሰራሩን እንወቅ። ከፍሪጁ ኋላ፣ ከታች በኩል፣ በኤሌክትሪክ የሚከፈት ትንሽ ቫልቭ አለ። ለጥቂት ሰከንድ ይከፈትና ውሃው በቀጭን ቱቦ ወጥቶ ፍሪዘር ውስጥ ያለውን ትሪ ይሞላል። ትሪው ወደ -9 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ሞተሩ ይዞርና በረዶውን ወደ ሳጥኑ ይገለብጠዋል። ከዚያ እንደገና ውሃ ይገባል። የሚፈልገው ሶስት ነገር ነው፦ መብራት፣ በቂ ብርድ እና ግፊት ያለው ውሃ።

1. ማብሪያውን እዩ

ብዙዎቹ ላይ ከትሪው ጎን ሽቦ የመሰለ ክንድ አለ። ክንዱ ወደ ላይ ከተነሳ ማሽኑ «ሳጥኑ ሞልቷል» ብሎ ይቆማል። በፌስታል የተቋጠረ ስጋ ገፍቶት ሊሆን ይችላል። ዝቅ አድርጉት። ክንድ የሌላቸው አዳዲሶቹ በበሩ ላይ ባለው ሰሌዳ ይዘጋሉ፤ ልጆች ሲነካኩት ዘግተውት እንደሆነ ተመልከቱ። መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ከመጣም ሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ቀልጦ እንደገና አንድ ቋጥኝ ይሆናል። ሳጥኑን አውጡና ለብ ያለ ውሃ አፍሱበት። በቢላ አትፈልጡት።

2. ብርዱ ይበቃል?

ፍሪዘር -18 ዲግሪ መሆን አለበት። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ የቆየ ስጋ አውጡና ንኩት። ድንጋይ መሆን አለበት። ካልሆነ የበሩን ጎማ ፈትሹ። የ10 ብር ኖት በጎማው መሃል አድርጋችሁ በሩን ዝጉና ሳቡት። ሳያንገራግር ከወጣ ጎማው አየር ያስገባል ማለት ነው። አንዳንዴ ቆሻሻ ብቻ ነው፤ በሳሙና ውሃ ጥረጉት።

እህቴን በስልክ «እታለም፣ ስጋው እንዴት ነው?» አልኳት።
«ቢላ ይቆርጠዋል» አለችኝ።

ያኔ ገባኝ። ፍሪጇ ያለው ከቤቱ ተነጥሎ በተሰራው ኩሽና ውስጥ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ በመስኮቱ ንፋስ ይገባል። ደሴ ከባህር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ የህዳርና የታህሳስ ሌሊቷ አጥንት ይሰብራል። ብዙ ፍሪጅ ሙቀቱን የሚለካው በዋናው ክፍል፣ ወተትና አትክልት በምታስቀምጡበት በኩል ነው። ፍሪጁ የቆመበት ቤት ራሱ ከቀዘቀዘ ፍሪጁ «በቂ ነው» ብሎ ኮምፕረሰሩን ያሳርፈዋል። ኮምፕረሰሩ ባረፈ ቁጥር ፍሪዘሩ ይላላል። ትሪው -9 ሳይደርስ ይነጋል።

ይህን ከራሱ ከፍሪጁ ማንበብ ትችላላችሁ። በውስጡ ወይም በጀርባው በተለጠፈው ወረቀት ላይ የአየር ንብረት ምድቡ በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። «ቲ» ካለ ከ16 እስከ 43 ዲግሪ ላለ ክፍል የተሰራ ነው። «ኤን» ከ16 እስከ 32፣ «ኤስ ኤን» ደግሞ ከ10 እስከ 32። የእህቴ ፍሪጅ ከዱባይ የመጣ ነው፤ «ቲ» ይላል። ለበረሃ የተሰራ ዕቃ በጦሳ ተራራ ግርጌ ከቤት ውጭ አስቀምጠነው ነበር። ወደ ሳሎን አስገባነው። በሶስተኛው ቀን በረዶ መጣል ጀመረ። ደሴ ፍሪጅ የምትገዙ ሰዎች ይህችን ፊደል ሳታዩ ባትገዙ ደስ ይለኛል።

3. ቱቦው በረዶ ዘግቶት ይሆን?

ስጋው ድንጋይ ሆኖ ትሪው ግን ደረቅ ከሆነ ውሃው መንገድ ላይ ቀርቷል። ከትሪው በላይ ያለውን የቱቦ አፍ በስልክ መብራት እዩት። ነጭ በረዶ ከደፈነው ፍሪጁን ከሶኬት ንቀሉና በፀጉር ፎን፣ በዝቅተኛው ሙቀት፣ ከራቅ ብላችሁ አቅልጡት። ፎኑ ውሃ እንዳይነካው ተጠንቀቁ፤ የሚቀልጠውን በጨርቅ ተቀበሉት። ካቻቢቴ ወይም ሹል ነገር ፈጽሞ አታስገቡ። የጋዙ ቱቦ ከተበሳ ፍሪጁ ራሱ ሊሄድ ይችላል፤ በብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ውስጥ ያለው ጋዝ ደግሞ በእሳት የሚያያዝ ነው። ካቀለጣችሁት በኋላ በሳምንት ውስጥ ተመልሶ ከደፈነ ቫልቩ ያንጠባጥባል ማለት ነው። ይህም ወደሚቀጥለው ይወስደናል።

4. ግፊቱ

የኛ ቤት በሽታ ይህ ነበር። ቧንቧ ውሃ በተራ ነው የሚመጣው፤ በሌሎቹ ቀናት ከሮቶ እንጠቀማለን። ነገሩን ያስተዋለችው ልጄ ናት። «አባ፣ በረዶ የሚኖረው እኮ ውሃ በመጣ ቀን ነው» አለችኝ። እውነቷን ነበር።

ሂሳቡ ይኸውላችሁ። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ 1 ባር ግፊት ይሰጣል። አብዛኛው የፍሪጅ ቫልቭ በትክክል ለመስራት ቢያንስ 1.4 ባር ገደማ ይፈልጋል። የኛ ሮቶ ከቫልቩ በላይ 4 ሜትር ቢሆን ነው፤ ማለትም 0.4 ባር። ለዚህ ቫልቭ የሚበቃ ግፊት ለማግኘት ሮቶውን 14 ሜትር ላይ መስቀል አለብን። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ቫልቩ አጥብቆ የሚዘጋውም በውሃው ግፊት መታገዙ ነው። ግፊቱ ሲያንስ በደንብ አይሞላም፣ በደንብም አይዘጋም። ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ቱቦው አፍ ላይ ይረጋል። በተራ ቁጥር 3 ያያችሁት በረዶ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። የምትሰራው በረዶ ትንሽ ወይም ውስጧ ባዶ ከሆነም ይህንኑ ጠርጥሩ።

ለማረጋገጥ ፍሪጁን ከሶኬት ንቀሉ፣ የውሃ መዝጊያውን ዝጉ። ፍሪጁን ሳብ አድርጋችሁ ከቫልቩ ላይ የውሃ ቱቦውን ፍቱ። ጫፉን ባልዲ ውስጥ አድርጉና መዝጊያውን ክፈቱ። አንዴ በሮቶ፣ አንዴ ደግሞ የቧንቧ ውሃ በመጣ ቀን። የኛ በቧንቧው ቀን ባልዲውን እየመታ ይወርድ ነበር። በሮቶው ቀን ግን እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ ነው፤ ቅጥን ብሎ በባልዲው ጎን ይንሸራተታል።

መፍትሄው ከሮቶው በኋላ የሚገጠም፣ ቧንቧ ሲከፈት በራሱ የሚነሳ ትንሽ የግፊት ፓምፕ ነው። ሮቶው ባዶ ሲሆን ፓምፑ በደረቁ እንዳይሰራ የሚያቆመው ነገር ይኑረው፤ ያለዚያ ይቃጠላል። ፓምፕ ለመግዛት አቅሙ ካልፈቀደ በረዶ መስሪያውን አጥፉትና በተራ የፕላስቲክ ትሪ ስሩ። እኛም አንድ ወር እንደዚያ ነው የኖርነው።

5. ማጣሪያውና ወንፊቱ

ግፊቱ ደህና ሆኖ ውሃ ካልገባ ማጣሪያውን ጠርጥሩ። አምራቾች በ6 ወር ቀይሩ ይላሉ። ክረምት ላይ ውሃው ደፍርሶ ከመጣ ግን ከዚያ በፊት ይደፈናል። ቱቦውን ፈታችሁ እያለም የቫልቩን አፍ እዩ፤ ትንሽ ወንፊት አለች። ነጭ ኖራ ከያዘች አቼቶ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፋችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍጓት። ስትመልሱት መዝጊያውን ከፍታችሁ እንደማያፈስ ሳታዩ ፍሪጁን ወደ ግድግዳው አትግፉት።

6. ለባለሙያ የሚተው

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልሰራ የቫልቩ ጥምጥም ወይም የማሽኑ ሞተር ተቃጥሎ ይሆናል። ባለሙያው በቴስተር ለክቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ሳይለካ «ይቀየር» ካለ አትስማሙ። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ፍሪጅ ከሆነ የሚሰራው በ120 ቮልት ነው፤ የኛ 220 ነው። የምትገዙት ቫልቭም በዚያው ቮልት የሚሰራ መሆን አለበት። መብራት ሄድ መጣ ሲል ደግሞ ፍሪጁን ንቀሉና ከተረጋጋ ከ5 ደቂቃ በኋላ ሰኩት።

ሁሉም ሲስተካከል ቶሎ አትጠብቁ። ፍሪዘሩ እስኪበርድና አየሩ ከቱቦው እስኪወጣ እስከ 24 ሰዓት ይፈጃል። መጀመሪያ የሚወርዱትን ሁለት ዙር በረዶዎች ድፏቸው፤ የማጣሪያና የአቼቶ ጣዕም ይኖራቸዋል። ሶስተኛውን ጭማቂው ውስጥ ጨምሩት።